ተቀምጦ ማየት ቀረ

ሰው ሊዝናና ሲነሣ ወደ ቆላ ይወርዳል። በእኛ ዘመን ይህ የታወቀ ነገር ነበር። ሶደሬ ወርደህ ፍል ውሃ ውስጥ ትነከራለህ፤ ጦጣ ሙዝህን ስትቀማህ ትስቃለህ። ወይም ላንጋኖ ዳር ካፖርትህን አውልቀህ አሸዋው ላይ ትጋደማለህ። የዛሬ ልጆች ግን የአዲስ አበባ ብርድ ያነሳቸው ይመስል ወደ ባሰው ይወጣሉ። ወንጪን ነው የምላችሁ፤ ተራራ አናት ላይ ያለውን ሐይቅ። ከተራራው ጠርዝ ከፍተኛው ወደ 3,400 ሜትር ይጠጋል። በዚያ ላይ የወሰዱኝ በጥቅምት ነው። አበው «በጥቅምት አንድ አጥንት» ያሉት ያለ ነገር አይደለም። ስንቁን ስከፍት ግን በፕላስቲክ የተጠቀለለ የቱና ሳንድዊችና ኦቾሎኒ በማር ተደርጎ የተጋገረ አንድ ደረቅ ነገር አገኘሁ። «ጉልበት ይሰጣል» አሉኝ። የሰጠኝ ጉልበት እሱኑ ሳኝክ አለቀ።

ድሮ ማምለጫ ነበረኝ። ከአምቦም ሆነ ከወሊሶ ወደ ላይ የሚወጣው መንገድ ኮረኮንች ስለነበር «መኪናው አይችለውም» እላለሁ፣ ይታመንልኛል። ከዚያ ገበታ ለሀገር የሚባለው ፕሮጀክት መጣና ወንጪን ከጎርጎራና ከኮይሻ ጋር መረጠው። አስፋልቱ ተነጠፈ። የዓለም ቱሪዝም ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2021 ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ ነው ብሎ መሰከረለት። ዓለም የመሰከረለትን እኔ በምን አፌ አልሄድም ልበል?

በአምቦ በኩል ነው የሄድነው፤ ሆለታ፣ አዲስ ዓለም፣ ጊንጪ እያልን። አዲስ ዓለም ላይ ማርያምን ሳልሳለም አላልፍም ብዬ ነበር። ምኒልክ መናገሻቸውን ሊያዛውሩባት አስበው፣ ባሕር ዛፉ የአዲስ አበባን የማገዶ ችግር ሲያቃልለው የተዉአት ከተማ እኮ ናት። ይህን ላወጋቸው አፌን ስከፍት ዘፈኑን ከፍ አደረጉት። «አባባ፣ ሰዓት የለንም፤ ፀሐይ ሳይከርር መውረድ አለብን» አለኝ ሹፌር የሆነው የልጄ ልጅ። ለምን ሰዓት አይኖርም? ሐይቁ እንደሆነ የትም አይሄድ! ተራራው ሆዱን ከተቀደደ ጀምሮ እዚያው ነው ያለው።

ደረስን። ጠርዙ ላይ ስትቆም መሬቱ ከእግርህ ሥር ቁልቁል ይሸሻል። ከታች ሐይቁ፣ በሐይቁ ላይ የቂርቆስ ገዳም ያለበት ደሴት፣ ዙሪያውን የእንሰት ጓሮና የገብስ ማሳ፣ ከየጎጆው ሣር ክዳን ላይ የሚወጣ ጭስ። አንዲት ሴት ከታች በኩል የእንሰቱን ግንድ እንጨት ላይ አስደግፋ ትፍቃለች፤ ነጭ ነጩ እግሯ ሥር ይከመራል። ይህን ትቶ ሌላ ምን ይፈለጋል? ደህና ድንጋይ መርጬ፣ የጋቢዬን ጫፍ አጣጥፌ ሥሬ ላደርግ ስል «ኧረ አባባ፣ አክቲቪቲው ገና አልተጀመረም!» አለችኝ የልጅ ልጄ። ማየቱ ከቁጥር አልገባም ማለት ነው። የእኔ ቅሬታ እንግዲህ ይቺ ናት። ሐይቅ ዛሬ አይታይም፤ ይወረድበታል፣ ይቀዘፍበታል፣ ይጋለብበታል፣ ከላይ በድሮን ይዞርበታል። እንጦጦ ፓርክ ላይ ደግሞ ሰውን በሽቦ አንጠልጥለው ይለቁታል። ተቀምጦ የሚያይ ሰው ከታየ ታሟል ተብሎ ውሃ ይቀርብለታል።

ልጅቷ ከቦርሳዋ ሁለት አጫጭር የብረት ዘንጎች አወጣች። ስትስባቸው ረዘሙ፤ ጠምዘዝ አድርጋ ቆለፈቻቸው፤ ጫፋቸው ላይ የጎማ ቆብ አላቸው፣ እጀታቸው ላይ የእጅ ማስገቢያ ጠፍር። ዞር አድርጌ አየኋቸው። ከዘራ ናቸው። ሃያ ዓመት ያልሞላት ልጅ፣ በሁለት ከዘራ! እኔ በዚህ ዕድሜዬ አንዷን ይዤ ብወጣ «አባባ ደከሙ» ብላ እናቷ ዘንድ የምትደውል እሷ ናት። ዋጋቸውን ነገረችኝ። በዚያ ገንዘብ ደህና ሙክት ይገዛ ነበር፤ የጥቅምቱም አጥንት አብሮ ይገኛል።

ለመውረጃ በቅሎ ጠየቅሁ። ሽማግሌ በበቅሎ ነው የሚሄደው፤ ፈረስ ለጦርና ለጉግስ ነው። የድሮ መኳንንት እንኳ ራሳቸው በቅሎ ላይ ተቀምጠው ፈረሱን ያስስቡት ነበር። ለእኔ የደረሰኝ ግን ፈረስ ነው። ባለፈረሱ ወጣት «አካም ቡልታኒ» ብሎ በሁለት እጁ ጨበጠኝ። ጨዋ ልጅ ነው። መቀመጫውን ጠበቅ፣ እርካቡን ለእግሬ ልክ አጠር አደረገልኝ። ችግሩ ከፈረሱ ነው። መንገዱ ሰፊ ሆኖ ሳለ ገደሉን ታክኮ ዳር ዳሩን ይሄዳል፤ ጥሩ ሣር ያለው እዚያ ነዋ። «ምነው ዳር ዳሩን?» ስለው ባለፈረሱ «መንገዱን ያውቀዋል አባባ፣ አይዞዎት» አለኝ። መንገዱንስ ያውቀዋል፤ የማያውቀው እኔን ነው። ቁልቁለቱ ሲበረታ ሰውነቴ ወደ አንገቱ እየተንሸራተተ፣ የኮርቻውን ኋላ በአንድ እጄ ጨብጬ፣ በሌላው ጋቢዬን ይዤ፣ ልጓሙን ለቂርቆስ አደራ ሰጥቼ ወረድሁ። ከፊት ለፊቴ አንዱ እየቀረጸኝ ነበር። ያንን ቪዲዮ አሁን አሜሪካ ያሉት ዘመዶች ሁሉ አይተውታል፤ ሙዚቃ አግብተውበት።

አሜሪካ ካልሁ ዘንድ፣ ከዴንቨር የመጣ የእህቴ ልጅ አብሮን ነበር። «ከፍታ ለእኔ አታስቡ፤ የእኛ ከተማ አንድ ማይል ከፍ ያለች ናት» ይላል። አንድ ማይል 1,600 ሜትር ገደማ ነው። አዲስ አበባ 2,300 ሜትር ታልፋለች፤ ለዚህ ብሎ የሸለመን የለም። ሽሮ ሜዳ ላይ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱት እናቶች ስንት ማይል ከፍ እንዳሉ ማን ነገራቸው? ልጁ በእግሬ ካልሆነ ብሎ ፈረስ አልፈልግም አለ። ሲወርድ ደህና ነበር። ሽቅብ ሲጀመር ወሬው አጠረ፣ ቀጥሎ ፊቱ ቀላ፣ ቀጥሎ እጁ ላይ ያለው ሰዓት መጮህ ጀመረ። የልብ ምቱን እየቆጠረ «አረፍ በል» ይለዋል። እኔ ከጠዋት ጀምሮ «አረፍ እንበል» ስለው ያልሰማኝ ሰው፣ ሰዓቱ ሲለው ዱብ ብሎ ተቀመጠ።

ከዚያ በፊት ግን ጀልባው ነበር። ደገኛና ውሃ ከሩቅ ነው የሚተዋወቁት። እኛን ልጅ ሆነን ወንዝ ዳር በቀትር አትሂዱ እያሉ ነው ያሳደጉን፤ ዋና ያስተማረንም የለም። ብርቱካንማውን ላይፍ ጃኬት ከጋቢዬ በላይ አጠለቁልኝና ማሰሪያው አልደርስ አለ። ጋቢውን ያውልቁ አሉኝ። አላወልቅም! ብሰጥም እንኳ በክብር ልስጠም። «ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» እያልሁ ገባሁ። ያን ቀን ሙሉ «ቁጭ በሉ» የተባለበት ብቸኛ ቦታ ያ ጀልባ ነው፤ የእኔዎቹ ደግሞ ለፎቶ የተነሡት እዚያው ላይ ነው። ቀዛፊው ይለምናል፣ እኔ እቆጣለሁ፣ ጀልባዋ ትወዛወዛለች። ስንት ሜትር እንደሚጠልቅ ልጠይቅ ብዬ ተውሁት፤ አንዳንድ ነገር ከተሻገሩ በኋላ ነው የሚጠየቀው።

ደሴቱ ላይ ቂርቆስን ተሳልሜ ስወጣ አንድ አባት ዛፍ ሥር ተቀምጠው አገኘሁ። ስለ ዘንድሮው ገብስ ጠየቅኋቸው፤ ዝናቡ ቶሎ መውጣቱን፣ ውርጩ ቀድሞ መግባቱን ነገሩኝ። ከዚያ ዝም አልን። ሳይናገሩ አብረው የሚቀመጡትን ሰው ማግኘት ዛሬ ቀላል አይደለም። ወዲያው ከላያችን የንብ መንጋ የመሰለ ድምፅ መጣ። አባ ቀና ብለው አዩና አማተቡ። ድሮኑ የማን እንደሆነ ሲጠይቁኝ «የማላውቃቸው ልጆች ናቸው» አልሁ። ደሴት ላይ ሆኜ ዋሸሁ፤ ኃጢአቱ ያለው እነሱ ላይ ነው።

ስንመለስ ትንሹ ልጅ ስልኩን እያነበበ «አባባ፣ ያለነው እኮ እሳተ ገሞራ ውስጥ ነው! ተኝቷል እንጂ አልሞተም» አለኝ። እዚህ ያለው ፍል ውሃ ከየት የሚመጣ መሰለዎት ብሎ አስረዳኝ። በእኛ ቤት የተኛ ሰው አይቀሰቀስም፤ ጫማ ወልቆ ነው በአጠገቡ የሚታለፈው። እነዚህ ግን በተኛ እሳት ላይ ፈረስ ያስጋልባሉ። ለመሆኑ ፍል ውሃው የት አለ ብዬ ጠየቅሁ። ከመጣንበት ሁሉ ለእኔ ወገብ የሚሆን እሱ ብቻ ነበራ። «ለእሱ እንኳ ጊዜ አልበቃንም» አሉኝ። ለመቅዘፍ ጊዜ በቃ፣ ለመነከር ጠፋ!

በወሊሶ በኩል ስንመለስ መኪናው ውስጥ ስለሚቀጥለው ጉዞ መማከር ጀመሩ። አንደኛው ደንዲ ይላል። እዚያው ጎረቤት ነው፤ ሁለት ሐይቅ ተያይዞ ስለሆነ ሁለቴ ሊያስቀዝፉኝ ነው። ሌላዋ ጎርጎራ ትላለች፣ የዴንቨሩ ደግሞ ጮቄ ካልወጣሁ አለ፤ ሰዓቱን አውልቆ ኪሱ ከትቶታል። በመጨረሻ የተስማሙት ደንዲ ሄዶ አንድ ሌሊት ድንኳን ተክሎ ለማደር ነው። እኔ ድንኳን ሲተከል የማውቀው ለሠርግና ለለቅሶ ነው። ለእኔ የሚተከለው ለየትኛው እንደሆነ ብጠይቃቸው፣ «አባባ ደግሞ!» ብለው ዘፈኑን እንደገና ከፍ አደረጉት።