«ዕውር ቢሸፍት እስከ ጓሮ» ላሉን ጌታ

ለልጆች የጨለማ ጀብዱ ይጻፍ፤ ሽፍታ ያድፍጥበት፣ ጅብ ይጩኽበት፣ ወንዝ በሌሊት ይሻገሩበት፤ ጀግናውም ዐይነ ስውር ልጅ ይሁን፣ ወይም እግሯን የምታነክስ ልጅ ትሁን ያልን እንደሆነ ሦስት ሰዎች ከመቀመጫቸው ብድግ ይላሉ። አንደኛው ጋሼ አታስፈራሩብኝ ናቸው፤ ሁለተኛው አያ ምሳሌ፤ ሦስተኛዋ እትዬ ከንፈር መጠጥ። ፍኖተ ሰላም መናኸሪያ ብትሄዱ አሉ፤ ቡሬ በርበሬ ገበያ ብትወርዱ አሉ፤ ማንኩሳ ማኅበር ብትጠጡም ጽዋውን ቀድመው ይዘዋል። ጎጃም ውስጥ ነገር ተነሥቶ ያለ እነሱ አልቆ አያውቅም። እንግዲህ ለየአንዳንዳቸው ድርሻቸውን እንስጥ።

ጋሼ አታስፈራሩብኝ ይጀምራሉ። «ልጅ እንዲህ ያለውን ሰምቶ ሌሊት ይባንናል። ለልጅ የሚነገረው አበባና ቢራቢሮ ነው።»

ጋሼ፣ በቢራቢሮ የተኛ የጎጃም ልጅ ማን ነው? እርስዎን ራስዎን «ጅቡ መጣልህ!» ብለው አይደል ያስተኙዎት? ልጅ ገንፎ አልበላም ባለ ቁጥር አያ ጅቦን በር ላይ የሚጠራ ቤት፣ ጅቡን መጽሐፍ ውስጥ ሲያገኘው «ኧረ ልጆቹን!» ይላል። ለመሆኑ የኛ ተረት መቼ መብራት በርቶለት ያውቃል? «ተረት ተረት» ሲባል «የላም በረት» ብሎ የመለሰ ልጅ ሁሉ ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ያውቃል። አህዮች ጅብ ቤት ለቅሶ ሊደርሱ ሄደው ራት ይሆናሉ። የእንጀራ እናት የባሏን ልጅ ጫካ ታስጥላለች። ስንዝሮ የሚባለው፣ ቁመቱ ከስንዝር የማይበልጠው ልጅ፣ የተጫኑትን ጉልበተኞች ሁሉ በብልሃት ይጥላቸዋል። ልብ ይበሉ ጋሼ! ቁመቱ ያልደረሰለትን ልጅ የጨለማ ጀብዱ ጀግና ያደረገው ፈረንጅ አይደለም፤ ያያትዎ እናት ናቸው፤ ያውም ጥጥ እየፈተሉ።

የገጠሩ ልጅ ደግሞ ከመጽሐፉ በፊት ከጨለማው ጋር ይተዋወቃል። ጥጃ ጠፋ ተብሎ ማታ የፈጣምን ወንዝ የተሻገረ ልጅ ነው። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ ተኩስ በሰማ ቁጥር ከመደብ ሥር የሚገባ ልጅ ነው። ፍርሃቱን ማንም ደራሲ አላስተማረውም። ከተረቱ የሚፈልገው ከፈሩ በኋላ ምን እንደሚደረግ ነው። እርስዎ ግን ልጁ የኖረበትን ጨለማ አያንብብ ብለው ሲከለክሉ፣ ቴሌቪዥኑን ከፍተው ዜና ላይ አስቀምጠውት ነው።

አያ ምሳሌ እስካሁን ዝም ያሉት ተረት እየመረጡ ነው። አሁን አገኙ። «ይሁን፣ ጨለማውስ ይሁን። ግን ዐይነ ስውር እንዴት ጀግና ይሆናል? አባቶች ‹ዕውር ቢሸፍት እስከ ጓሮ› ብለዋል እኮ።»

አያ፣ የጎጃሙ ተወላጅ አለቃ አያሌው ታምሩ ገና ሕፃን ሳሉ ዐይናቸውን አጡ። በርስዎ ልክ ቢሆን ከጓሮ ባላለፉ ነበር። እሳቸው ግን ጓሮውን አለፉ፤ ደጁን አለፉ፤ በየጉባኤ ቤቱ ዞረው ከሊቃውንት ተማሩ፤ መጻሕፍት ጻፉ፤ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የሊቃውንት ጉባኤ ሰብሳቢ ሆኑ። በ1999 ዓ.ም. እስካረፉ ድረስም ለተከራካሪ የሚመለሱ ሰው አልነበሩም። እሳቸው ሊቃውንትን ሲሰበስቡ እርስዎ ሁለት ዐይንዎን ይዘው ጓሮ ጎመን ይጠብቁ ነበር።

«እሱ አንድ ሰው ነው» ይላሉ አያ። አንድ ሰው አይደለም። በጎጃም የቅኔ ቤት የኖረ ሁሉ ያውቀዋል፤ ዐይነ ስውር ተማሪ ለየኔታ ብርቅ አይደለም። ቅኔ በጆሮ ይገባል፣ በልብ ይፈጫል፣ በአፍ ይወጣል። ከጉባኤ ቃና እስከ ዕጣነ ሞገር ድረስ የትኛው ነው ዐይን የሚጠይቀው? ቤተ ክህነት አራቱን ጉባኤ ለዘለቀው ሊቅ «አራት ዐይና» የሚል ማዕረግ ስትሰጥ ቀድማ ዐይኑን አልቆጠረችም።

የጀብዱ ታሪክ ፈለግን ካልን ደግሞ የቆሎ ተማሪን መንገድ የሚያህል ከየት ይመጣል? ልጁ ከናት ካባቱ ጠፍቶ ይወጣል። ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ ዱላ ይዞ ዋሸራ ቅኔ ቤት እሄዳለሁ ይላል። መንገዱ ላይ ውሻ አለ፣ ጅብ አለ፣ ረኃብ አለ፣ ወባ አለ። ትምህርት ይገልጣል እየተባለ በሹክሹክታ የሚወራ አብሾም አለ፤ ጠጥቶ ያበደ ተማሪ ታሪክ በየጎጆው ይነገራል። ይኸን ሁሉ ዐይነ ስውሩም ያልፍበታል። ከዚህ የጨለመ ጀብዱ የሚጽፍ ካለ ወዲህ በሉት!

እስቲ አንዱን ምሽት ጠጋ ብለን እንየው። ሁለት ተማሪዎች ለቁራሽ ወጥተው መሽቶባቸዋል። አንዱ ያያል፤ አንዱ አያይም። ከአጥሩ ሥር «በእንተ ስማ ለማርያም» ሳይሉ ውሾቹ ተነሡ። የሚያየው ልጅ ውሾቹን አያቸው፤ ስላያቸውም ሮጠ። ውሻ ደግሞ የሚወደው የሚሮጥ ነው፤ ተከትሎ ባቱን ያዘው። የማያየው ጀርባውን አጥሩ ላይ አስደግፎ፣ ዱላውን ወደ መሬት ዝቅ አድርጎ ቆመ። በጩኸታቸው ሦስት መሆናቸውን ለየ፤ አንዱ ቡችላ ነው፤ አንዱ ታስሯል፤ ጉዳዩ ከአንዱ ጋር ብቻ ነው። ባለቤቷ ወጥታ እስክትገሥጽ ድረስ አልተነቃነቀም። ጨረቃ በሌለችበት ሌሊት ወደ ጎጆ ሲመለሱ ደግሞ ባቱን የተነከሰው የዱላውን ጫፍ ይዞ ይከተላል፤ ዐይነ ስውሩ ይመራል። ወንዙ ሲመጡ በቀኝ ነበር፤ አሁን በግራ ይሰማል። ቁልቁለቱ ላይ ጠጠር አለ፤ ጠጠሩ ሲያልቅ መታጠፊያው ነው።

አያ ምሳሌ፣ በዚያ ሰዓት ከጓሮ ማለፍ ያቃተው የትኛው ነው?

ደግሞ ጆሮው ተአምር አለበት እንዳይሉኝ። ደራሲዎቻችንም ይቺን ይስሟት። ልጁ የሌሊት ወፍ ጆሮ አልተሰጠውም፤ ከሌላው ይልቅ ሥራ የበዛበት ጆሮ ነው ያለው። በየቀኑ በጆሮው መንገድ ይሄዳል፤ ስለዚህ መንገዱን ያውቃል። ተአምር ስትሰጡት ድካሙን ትሰርቁታላችሁ።

አያ አሁን ወደ ባሕር ማዶ ሸሹ። «ፈረንጆቹስ ቢሆኑ እንዲህ ያለውን ሰው ጀግና አድርገው ያውቃሉ?»

እውነትዎን ነው፣ እነሱም ከርስዎ ጋር ማኅበር ጠጥተዋል። እ.ኤ.አ. በ1883 በመጽሐፍ የወጣው «ትሬዠር አይላንድ» ውስጥ የሚያስፈራው ማን ነው? አንድ እግሩ የተቆረጠው ሲልቨርና ዐይነ ስውሩ ፒው። «ፒተር ፓን» ውስጥስ? በተቆረጠ እጁ ምትክ መንጠቆ የተሰካለት ካፒቴን ሁክ። ክፉ ሰው ሲያስፈልጋቸው አካሉ የጎደለ ሰው ይፈልጉ ነበር። ዛሬ ግን ከዚያ ማኅበር እየወጡ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 በወጣው የዘንዶ ፊልማቸው ላይ ሂከፕ የተባለው ልጅ ከታላቁ ዘንዶ ጋር ተዋግቶ እግሩን ያጣል። ሲነቃ የእንጨትና የብረት እግር ተገጥሞለታል፤ ትንሽ ተንገዳገደና ዘንዶው ላይ ወጥቶ በረረ። ማንም አላለቀሰለትም። እርስዎ ብቻ ከነጽዋዎ ቀሩ።

እትዬ ከንፈር መጠጥ እስካሁን አልተናገሩም፤ ከንፈራቸው ሥራ ላይ ነበር። አሁን ለቀቁት። «እህህ፣ አንጀቴን በሉት። ይጻፍ እሺ። ግን ምናለ መጨረሻ ላይ ቢድን?»

እትዬ፣ ይኸን ያሉት እርስዎ ብቻ አይደሉም። የስዊዘርላንዷ «ሃይዲ» ውስጥ በተሽከርካሪ ወንበር የምትሄደው ክላራ ተራራ ላይ ንጹሕ አየር አግኝታ ወተት ጠጥታ ትነሣለች። እ.ኤ.አ. በ1911 የወጣው «ሚስጥራዊው የአትክልት ቦታ» ውስጥ ኮሊን የሚባለው ልጅ በመጨረሻው ተነሥቶ ይራመዳል። የሚያምር መጨረሻ ነው፤ ለተነሣው። መጽሐፉን ዘግታ አሁንም ወንበሯ ላይ ያለችው አንባቢስ? «አንቺ ንጹሕ አየር ስላነሰሽ ነው» ነው የተባለችው። የጎጃም አየር እንደሆነ ንጹሕ ነው፤ ወተቱም አለ፤ ልጅቷ ግን አልተነሣችም። እንግዲህ ጥፋቱ የማን ሊሆን ነው?

እኛም ይኸው ልማድ አለብን። አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ ማሸነፉን የማያውቅ ልጅ የለም። በ1964 ቶኪዮ ላይ መድገሙንም እናወራለን። በ1969 በመኪና አደጋ እግሮቹ ከከዱት በኋላስ? በቀጣዩ ዓመት እንግሊዝ አገር፣ ስቶክ ማንደቪል ላይ በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦ በቀስት ውርወራ ተወዳደረ። ይኸን ለልጅ የሚነግር ስንት ነው? ታሪኩን እግሩ ላይ ጀመርን፣ እግሩ ላይ አቆምን። ሰውየው ቀስት ይዞ ቀጠለ፤ ከንፈር የምንመጥጠው እኛ ከመንገድ ቀረን።

«የኔ ልጅ፣ እዚህስ እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ልጅ የት አለ ብለህ ነው?» ይላሉ እትዬ።

ጓዳ ውስጥ ነው፣ እትዬ። እንግዳ ሲመጣ «ልጆችሽ ስንት ናቸው?» ይባላል። እናት «አራት» ትላለች። አምስተኛዋ ከመጋረጃው ኋላ ሆና ትሰማለች፤ ቆጠራ ታውቃለች እኮ። ጓዳ ያልገባችው ደግሞ ትምህርት ቤት ሄዳ ከሰው ጋር አልቀመጥ ብላ ትመለሳለች። በቀዩ አፈራችን ላይ ለዓመታት በባዶ እግር ከመሄድ የሚመጣ ዝሆኔ እግሯን አሳብጦታል። ይኸኛው ዝሆኔ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ሐሜቱ ግን ይተላለፋል፤ የተላለፈውም ከርስዎ ነው።

ከመጋረጃ ኋላ የወጣች ብንፈልግ ደግሞ አለች። የትነበርሽ ንጉሤ ወሎ፣ አማራ ሳይንት ተወልዳ በአምስት ዓመቷ ዐይኗን አጣች። ራሷ ደጋግማ እንደተናገረችው እኩዮቿ በልጅነት ሲዳሩ እሷን ያገባት ጠፋ፤ በዚያ ምክንያት ትምህርት ቤት ገባች። ሕግ ተማረች፣ ለአካል ጉዳተኞች መብት ተከራከረች፣ በ2010 ዓ.ም. ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበለች። እርስዎ «ምነው ባል ባገኘች» ብለው ከንፈር ሲመጥጡላት እሷ ማምለጧ ነበር። የልጅነት ጋብቻን ያህል ዘንዶ ካለበት ታሪክ የበለጠ የጨለማ ጀብዱ ከየት ልናመጣልዎ ነው?

ሩጫ ይሻላል ካሉም ትዕግሥት ገዛኸኝ እ.ኤ.አ. በ2021 በተካሄደው የቶኪዮ ፓራሊምፒክ በ1500 ሜትር የኢትዮጵያን የመጀመሪያ የፓራሊምፒክ ወርቅ አምጥታለች። ያየሽ ጌቴ ደግሞ በ2024 ፓሪስ ላይ፣ ዐይኗ ተሸፍኖ፣ ከመሪ ሯጭዋ ጋር በአጭር ገመድ ተያይዛ፣ በዚያው ርቀት ወርቅ ወስዳለች። ከሁለቱ አንዳቸውም ጓሮ ላይ አልቆሙም።

በመጨረሻ ሦስቱም ባንድ ድምፅ «እሺ፣ ታዲያ ማን ከልክሏችሁ? ጻፉ!» ይላሉ። ይኸን ጊዜ ነው ለነሱ ብቻ ያልሆነ መልስ የሚያስፈልገው። ጀግናችን በተሽከርካሪ ወንበር ፈጣምን ተሻገረ እንበል። ሽፍታውን አታለለ፤ ዘንዶውን ገደለ፤ መጽሐፉን ሊያነብ ትምህርት ቤት መጣ። ትምህርት ቤቱ በር ላይ ስድስት ደረጃ አለ። ዘንዶውን ያሸነፈ ጀግና በደረጃ ተሸነፈ። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 በ2001 ዓ.ም. የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ ለአካል ጉዳተኛ ምቹ ይሁን ብሏል። አዋጁ ወረቀት ላይ ነው፤ ደረጃው ግን ሲሚንቶ ነው። ዐይነ ስውሯ ጀግናም መጽሐፏን በብሬል ወይም በድምፅ ካላገኘች፣ የራሷን ጀብዱ ሌላ ሰው አንብቦ እስኪነግራት ትጠብቃለች ማለት ነው።

እንግዲህ ደራሲዎች ሆይ፣ ቦታ አላጣችሁም። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ማንኩሳን የልቦለድ አገር አድርገዋታል፤ እናንተም ከዚያው መነሣት ትችላላችሁ። ጨረቃዋን አጥፉ፤ ጅቡን አስጩኹ፤ ሽፍታውን ገደል ላይ አስቀምጡ። ልጁ ይሳሳት፣ ይፍራ፣ ይዋሽ፣ ጓደኛውን ያስቀይም፤ ደግ ሆኖ የተወለደ አታስመስሉት። ዐይኑን ብቻ አታብሩለት። የግድ የአንድ ሰው ዐይን ካልበራ ታሪኩ አያልቅም ካላችሁ፣ አያ ምሳሌ ወረፋ ይዘዋል።