ማስታወቂያ መለጠፍ ክልክል ነው

ጉለሌ ውስጥ መንገድ ዳር የቆርቆሮ በር ካለዎት የካርታው ባለቤት እርስዎ ነዎት፤ የበሩ ባለቤት ግን ሙጫ የያዘ ሁሉ ነው። ከአዲሱ ገበያ እስከ ሽሮ ሜዳ ሲሄዱ በሮቹን ልብ ብለው ይዩ። ዲሽ ሠሪው፣ ሽንት ቤት መጣጩ፣ ኪንታሮትን ያለ ቀዶ ጥገና የሚነቅለው፣ ቤት ለቤት የሚያስጠናው፣ "የሚሸጥ ቤት" ባዩ ደላላ፣ ሁሉም እዚያ ተገናኝተዋል። እኔ ከእነዚህ ጋር ብዙ ዘመን ስለታገልኩ ልምዴን ላካፍልዎ ግድ ብሎኛል። ምክሩ በነጻ ነው፤ ደግሞም አልጠየቁኝም።

አንደኛ፣ ማስጠንቀቂያ ይጻፉ። በቀይ ቀለም፣ በትልልቁ፣ "ማስታወቂያ መለጠፍ በሕግ ያስቀጣል!" ይበሉ። የትኛው ሕግ እንደሆነ አይጥቀሱ፤ ሕግ ሲዘረዘር ግርማው ይቀንሳል። እኔ ይህን በጻፍኩ በሦስተኛው ቀን የዲሽ ሠሪው ስልክ ልክ ከቃለ አጋኖዬ ሥር ተለጥፎ አገኘሁት። በንዴት ደወልኩለት። "ጋሼ፣ ሰው የሚያነበው እዚያ ጋ ነው እኮ" አለኝ በትሕትና። እውነቱን ነው። በሩ ላይ ከሩቅ የሚነበበው ማስታወቂያ የኔው ነበር። ደውዬ ዝም ከምል ብዬ ዲሹንም አሠራሁት።

ዝርዝር ካላየሁ አላምንም ካሉ ሕግ አለ፤ የበር ሳይሆን የኢሜይል ነው እንጂ። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 በአንቀጽ 15፣ ምርት ወይም አገልግሎት ለማስተዋወቅ ሲል ያለ ተቀባዩ ፈቃድ ኢሜይል የሚያሰራጭን ሰው እስከ 3 ዓመት በሚደርስ ቀላል እስራትና እስከ 30,000 ብር በሚደርስ መቀጮ ይቀጣል። ላኪው ትክክለኛ ማንነቱንና አድራሻውን ከገለጸ፣ ተቀባዩም "በቃኝ" የሚልበት ቀላል መንገድ ካለው ግን ሕጉ ያልፈዋል። በዚህ ሚዛን እኔ በር ላይ ያሉት ሁሉ ንጹሐን ናቸው። ስልካቸውን አሳምረው ጽፈዋል፤ "በቃኝ" የምልበትም ቀላል መንገድ አለኝ፦ ቢላዋና ሙቅ ውሃ።

ሁለተኛ፣ ስልክዎን ይጠብቁ። ባለ አጭር ቁጥሩ መካሪ በእኩለ ሌሊት ስለ ትዳርዎ ከጻፈልዎ፣ ወደ ላከበት ቁጥር "ስቶፕ" ብለው ይመልሱለት። "በስህተት ቴሌብርዎ ላይ 2,000 ብር ልኬያለሁ፣ ስለ እግዚአብሔር ይመልሱልኝ" ለሚልዎት ደግሞ፣ ከማዘንዎ በፊት ቀሪ ሂሳብዎን ይዩ። መልእክት ማንም ይጽፋል፤ ሂሳቡ ካልጨመረ ለራስዎ ይዘኑ። "ዲቪ ደርሶዎታል" የሚለው ጉለሌ ውስጥ በተለይ ልብ ያቀልጣል፤ የአሜሪካ ኤምባሲ በእግር የሚደረስ ነዋ! ነገር ግን የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ለዕድለኛ በኢሜይል የምሥራች አይልክም፤ አመልካቹ ራሱ በማረጋገጫ ቁጥሩ ድረ ገጹ ላይ ገብቶ ያያል። ሳይሞሉ ከደረሰዎት ግን ተአምር ነው። ተአምር ደግሞ "የአገልግሎት ክፍያ" አይጠይቅም።

ሦስተኛ፣ የክርስትና እናት። "ልጄ፣ ይህን ለ7 ሰው ካስተላለፍክ እስከ ማታ ምሥራች ትሰማለህ" ብለው በየማለዳው ይልካሉ። ብሎክ ማድረግ ይቻላል፤ ግን ለፋሲካ ማን ቤት ዶሮ ሊበሉ ነው? ድምፁን ያጥፉና "አሜን" ብለው ይመልሱ። ቴሌግራም ላይ የማያውቁት ሰው ግሩፕ ውስጥ እንዳይጨምርዎት ከፈለጉ፣ ሴቲንግ ውስጥ ገብተው ፈቃዱን ስልክዎ ላይ ለመዘገቧቸው ሰዎች ብቻ ይስጡ። የክርስትና እናትዎም ከተመዘገቡት ውስጥ ናቸው፤ ለዚያ መድኃኒት የለኝም። በእርሳቸውም አይፍረዱ። ነጋሪት እየተጎሰመ "የሰማህ ላልሰማ አሰማ!" ሲባል የኖረ ሕዝብ ልጆች ነን፤ ቴሌግራም ነጋሪቱን ለእያንዳንዳችን አደለን እንጂ ጠባዩን አላመጣብንም።

አራተኛና የመጨረሻው፣ ምሕረት አያድርጉ። እኔ በጳጉሜን፣ አዲሱን ዓመት በንጹሕ በር ልቀበል ብዬ እጅጌዬን ሰበሰብኩ። ዲሹ ሥር ኪንታሮት፣ ኪንታሮቱ ሥር ደላላ፣ ደላላው ሥር ሌላ ደላላ ወጣ። አንዱንም ሳላነብ ሁሉንም ፋቅኩ። በእጅ የተጻፈች፣ ክብ ማኅተም ያረፈባት አንዲት ወረቀት ትንሽ አስቸግራኝ ነበር፤ እሷንም በሙቅ ውሃ አሸነፍኳት። በሩ ቦግ አለ።

ለካ ያቺ ወረቀት የእድራችን ጠቅላላ ጉባኤ ጥሪ ኖራለች። "አላየሁም" ብል ጸሐፊው መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው "በራስዎ በር ላይ ለጥፈን?" አሉኝ። 200 ብር ተቀጣሁ። የቀሪዎች ስም ዝርዝርም ለአባላት እንዲታይ ተለጠፈ፤ የት ቢሉ፣ እኔው በር ላይ፣ ከቀዩ ጽሑፍ ሥር፣ ሰው በሚያነበው ቦታ። ስሜ ከላይ ሁለተኛው ነው።

ማኅተም ያለበትን ዳግመኛ ለመፋቅ እጄ አልደፈረም። ደግነቱ ዲሽ ሠሪው በማግሥቱ መጥቶ ሸፈነልኝ።