ድንኳኑ ማዶ፣ ገበታው ወዲህ

በቴሌቪዥን ድራማ ውስጥ እንደ ገበታ የሚያስቸግር ትዕይንት አላውቅም። የመኪና ማሳደድ እንኳ ይሻላል፤ መኪናው ወደ ኋላ ተመልሶ እንደገና ይመጣል። እንጀራ ግን አንዴ ከተቆረሰ ተቆረሰ ነው። ስምንት ሰው ትሪ ከቦ ተቀምጧል። አባት ባርኮ ይቆርሳል፣ እናት ታጎርሳለች፣ ታላቁ ልጅ አኩርፎ እጁን አጣጥፏል። መሃል ላይ የታናሿ ድምፅ ይሰበርና «እንደገና» ይባላል። በትሪው ላይ ያለው ሁሉ ይነሳል፤ አዲስ እንጀራ ይነጠፋል፤ ወጡም በዚያው ቦታ፣ በዚያው መጠን ይወጣል። እናትዮዋ ያጎረሰችው «ልጄ» ስትል ከነበረ፣ በሁለተኛውም በሦስተኛውም ቀረጻ እጇ የሚዘረጋው በዚያው ቃል ላይ መሆን አለበት። አለዚያ ኤዲቲንግ ላይ ጉርሻው ከሰማይ የወረደ ይመስላል።

ይህን የምመዘግበው እኔ ነኝ። መጠሪያዬ ረዳት ዳይሬክተር ቢሆንም፣ እኛ ዘንድ ረዳት ማለት ኮንቲኒዩቲም፣ ፕሮግራም አውጪም፣ ያረፈደ ተዋናይ በስልክ ቀስቃሽም ነው። ሥራዬን እወደዋለሁ። ከሁሉ አስበልጬ የምወደው ደግሞ በገበታ ዙሪያ ማን ማንን እንደሚያይ መከታተል ነው። ካሜራው በሁለት ሰዎች መካከል ያለውን መስመር አቋርጦ ከቀረጸ፣ ፊት ለፊት የተቀመጡት አባትና ልጅ ሁለቱም ወደ አንድ አቅጣጫ የሚያዩ ይመስላሉ። ሁለት ሰው ብቻ ሲሆን መጠንቀቁ ቀላል ነው። ስምንት ሰው ክብ ሠርቶ ሲቀመጥ ግን መስመሩ አንዱ በተናገረ ቁጥር ይዞራል።

ዳይሬክተራችን ይህን መስመር በወረቀት ሲሥሉት አይቼ አላውቅም። ስማቸውን መጻፍ አልፈልግም፤ ሁላችንም እንደምንጠራቸው ጋሼ ልበላቸው። ካሜራ ሳይቆም ተዋናዮቹን ያስቀምጡና ወደ እኔ ዞረው «ዛሬ ማን ማንን ነው ያኮረፈው?» ይሉኛል። እነግራቸዋለሁ። ያኮረፈውን ካስኮረፈው ያርቁታል፣ ወይም ሆን ብለው ጎን ለጎን ያደርጓቸዋል። ከዚያ በኋላ ካሜራ ማኑ የት እንደሚቆም ማንም ሳይነግረው ያውቃል።

ጋሼ ከመድረክ ወደ ራዲዮ ድራማ፣ ከራዲዮ ወደ ቴሌቪዥን የመጡ ሰው ናቸው። ዕድሜያቸውን የጨረሱት በቤተሰብ ድራማ ነው፤ የሲኒማ ቤት ፊልም ሠርተው አያውቁም። በደረሱበት ሁሉ «ፊልም መቼ ነው የሚሠሩት?» ይባላሉ። እሳቸው ፈገግ ብለው ያልፉታል። እኔን ግን ያናድደኛል፤ እስካሁን ያደረጉት ሁሉ ለዋናው ሥራ መለማመጃ ነበር የተባለ ይመስለኛል። ሕዝባችን ከዳይሬክተር ሥራ ጋር በብዛት የኖረው በየሳሎኑ፣ በሳምንታዊው ድራማ አማካይነት ነው። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥርጭት ከጀመረ በኋላ ለብዙ ዘመን የነበረን አንድ ጣቢያ ነው፤ ድራማ ሲኖር ቴሌቪዥን ያለው ቤት በጎረቤት ልጆች ይሞላ ነበር። አበበ ባልቻ በ«ሰው ለሰው» ላይ አስናቀን ሆነው ሲጫወቱ የተመልካቹ ንዴት እንደ ባዳ ሰው ንዴት አልነበረም። የገዛ አጎቱ እንደበደለው ያህል ነበር። ያን ያህል ዝምድና የሚፈጠረው በየሳምንቱ ሰው ቤት በመግባት ነው፤ የዚያ ባለሙያ ደግሞ የተከታታይ ድራማ ዳይሬክተር ነው።

ስለዚህ ነገር ሳስብ ራልፍ ሴነንስኪ የሚባል አሜሪካዊ ዳይሬክተር ይታወሰኛል። እ.ኤ.አ. በ1923 አይዋ ግዛት የተወለደ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ «ዘ ትዋይላይት ዞን»፣ «ዘ ፊዩጂቲቭ»፣ «ስታር ትሬክ» እያለ ከአንዱ ተከታታይ ወደ ሌላው ተዘዋውሯል። ለ«ዘ ዋልተንስ»ም በርካታ ክፍሎችን መርቷል፤ በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን በቨርጂኒያ ተራሮች የሚኖር የአንድ ትልቅ ቤተሰብ ታሪክ ነው። አሜሪካ ውስጥ አንድ ተከታታይ ድራማ ብዙ ዳይሬክተሮች ይፈራረቁበታል። አንዱ የራሱን ክፍል ሲቀርጽ ተረኛው ለቀጣዩ ይዘጋጃል። በዚያ ዘመን ለአንዱ ክፍል ቀረጻ የሚሰጠው ስድስት ሰባት ቀን ያህል ነበር። ዳይሬክተሩ ባላቋቋመው ቤት በእንግድነት ይገባል፤ ተዋናዮቹ ገጸ ባሕርያቱን ከእሱ ይልቅ ያውቋቸዋል፤ የቤቱን ወግ ሳያፈርስ የራሱን ዓይን ማምጣት አለበት። ሴነንስኪ ይህን ለዓመታት ሲያደርግ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1968 አንድ የ«ስታር ትሬክ» ክፍል በመቅረጽ ላይ ሳለ ከፕሮግራም ወደ ኋላ ቀርተሃል ተብሎ መሃል ላይ ተሰናበተ። ቀሪውን ሌላ ሰው ጨረሰው፤ በክፍሉ ላይም ዳይሬክተር ተብሎ የተጻፈው የዚያ ሰው ስም ነው። ይህን ባነበብኩ ጊዜ ከልቤ አዝኛለሁ። ተመሳሳይ ነገር በዓይኔ እንደማይ ግን አላሰብኩም ነበር።

የምንቀርጸው ቀበና ውስጥ በተከራየነው ግቢ ነበር። ባለቤቷ እማማ ከኋላ ባለው ሰርቪስ ቤት ይኖራሉ፤ ዋናውን ቤት ለእኛ ለቀውልናል። ሳሎኑ ሰፊ ነው፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። ክረምት ላይ ዝናቡ ድምፅ እያበላሸብን ብዙ ሰዓት አቃጥለናል። ጥቅምት ሲገባ ተንፈስ አልንና ለመጨረሻ ያቆየነውን ትልቁን ትዕይንት አዘጋጀን። የሴት ልጅ መልስ ነው፤ ዘፈን አለ፣ እልልታ አለ፣ ተባርሮ የነበረው ታላቅ ልጅ ሳይጠራ ይመጣል። እንጀራውና ወጡ በብዛት ታዘዘ፤ ተዋናዮቹ በሙሉ የሚገኙትም በዚያ ቀን ብቻ ነበር።

ጠዋት ስንደርስ ከአጥር ማዶ ለቅሶ ሰማን። የጎረቤት አባወራ ሌሊቱን አርፈዋል። የእድሩ ሰዎች መንገዱ ዳር ድንኳን እየተከሉ ነው፤ የእኛ መኪና መግቢያ አጥታ ቆማለች።

ፕሮዲውሰሩ ያቀረበው ሐሳብ ከንቱ አልነበረም፤ ይህን መናገር አለብኝ። ክፍሉ የሚተላለፈው በዚያው እሑድ ነው፤ በእጃችን የተጠናቀቀ ሌላ ክፍል የለም። በሩንና መስኮቱን ዘግተን ያለ ድምፅ እንቅረጽ፣ ዘፈኑንና እልልታውን ስቱዲዮ ውስጥ እንጨምረዋለን አለ። ይቻላል። ሳውንድ ማኑም ለቅሶው በማይኩ መግባቱ አይቀርም ካለ በኋላ፣ ድምፁ ኋላ የሚሠራ ከሆነ ግድ የለም ብሎ ተስማማ። ሁላችንም ጋሼን አየን።

«የመልስ ልብስ ለብሳችሁ በዚህ በር ልትወጡ ነው?» አሉ። «የሟች ልጆች ቆመው እያዩ?»

ከዚያ ነጠላ አምጡልኝ ብለው ወደ ድንኳኑ ሄዱ። እኛም ተከተልናቸው።

እናትን ሆና የምትጫወተው ተዋናይት ገና ስትገባ ሴቶቹ አወቋት። አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት እጇን ይዘው አጠገባቸው አስቀመጧት፤ እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ «ምነው ልጄ፣ ያን ልጅ እንዲያ አስከፋሽው? ቤቱ እኮ ነው፤ አስገቢው እንጂ» አሏት። ስለ ድራማው ልጅ ነው። ለቅሶ ላይ ተቀምጠው፣ የራሳቸው ሰው ሞቶባቸው፣ እኛ የፈጠርነው ልጅ በር ላይ መቆሙ አሳስቧቸዋል። ተዋናይቷ «ድራማ ነው» አላለቻቸውም። ጉልበታቸውን ሳመችና «እሺ እማዬ፣ አስገባዋለሁ» አለች። እዚያው አለቀስኩ። ለሟቹ ይሁን ለዚህ ቃል ለይቼ መናገር አልችልም።

ወደ ማታ መብራት ጠፋ። ጋሼ ጀነሬተራችንን ከነገመዱ ወደ ድንኳኑ አስወጡት። ለቀረጻ የተሰናዳው ምግብም፣ የጾም ቀን አልነበረምና፣ ለለቀስተኛው ተሻገረ። ያን ሌሊት ድንኳኑ የበራው በእኛ መብራት ነበር።

በተከታዩ ቀን በጓዳ በኩል፣ በመስኮት ብርሃን፣ ሹክሹክታ ያለባቸውን ጥቂት ትዕይንቶች ብቻ ቀረጽን። እሑድ የተላለፈው የቆየ ክፍል ነው። ቃና በ2008 ዓ.ም. የቱርክ ድራማዎችን በአማርኛ እየመለሰ ማሳየት ከጀመረ ወዲህ ተመልካቹ ታሪኩን በየዕለቱ ማግኘት ለምዷል፤ እዚያ አገር በሳምንት አንዴ ሁለት ሰዓት ያህል የሚታየው ክፍል ለውጭ ሲሸጥ ስለሚከፋፈል ለቀናት ይበቃል። የእኛ በሳምንት አንዴ ነው። አንድ ሳምንት ስንቀር ምን ያህል ሰው እንደሚሄድብን ፕሮዲውሰሩ ያውቃል፤ ስፖንሰሩም ያውቃል። የፕሮዲውሰሩ ንዴት ይገባኛል። ትክክል ነበር ማለት ግን አልችልም።

መልሱን የቀረጽነው ለቅሶው ካለፈ በኋላ ነው። በስክሪፕቱ ላይ ታላቁ ልጅ ሲገባ እናት ተነሥታ ታቅፈዋለች፣ ሁሉም ያለቅሳሉ። ጋሼ ይህን ቀየሩት። እናትዮዋ ቀና ብላ አታየውም፤ ጋቢዋን ሰብስባ ከጎኗ ቦታ ትለቅለታለች። ይቀመጣል። እጁ ወደ ትሪው ሲመጣ ካሜራው ፊቷ ላይ ነው። ምንም አትልም። ከየት እንዳመጡት ገብቶኛል፤ ድንኳን ውስጥ ከሩቅ ለመጣ አንድ ዘመድ እንዲሁ ሳያዩት ቦታ ሲለቁለት አይተናል። ከለቅሶ ቤት ለድራማ መውሰድ ደግ ነው ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው። ንግግራቸውን፣ ስማቸውን፣ ሐዘናቸውን አልወሰድኩም፤ አቀማመጣቸውን ግን ካልወሰድኩ የማንን ቤተሰብ ነው የማሳየው አሉኝ። በሐሳባቸው ሙሉ በሙሉ እንደተረጋጋሁ አልናገርም፤ ውጤቱ ግን ከሠራናቸው ሁሉ እውነተኛው ነበር።

ይህ ዝምታ ወደ «ዘ ዋልተንስ» ይመልሰኛል። በዚያ ድራማ ላይ አያትን ሆና የምትጫወተው ኤለን ኮርቢ እ.ኤ.አ. በ1976 ስትሮክ መትቷት ንግግሯ ተጎዳ። በ1978 ስትመለስ ሕመሟን አልደበቁትም፤ የገጸ ባሕርይዋም ሕመም ሆነ፣ በጥቂት ቃላት ብቻ እንድትጫወት ተደረገ። ባሏን ሆኖ የሚጫወተው ዊል ጊር በዚያው ዓመት ሚያዝያ አረፈ። የሁለቱ እንደገና መገናኘት በስተመጨረሻ መለያያቸው ሆነ። ያን ክፍል የሚመራ ሰው ያለበትን ኃላፊነት አስቡት። ጽሑፉ አለ፣ ሰዓቱ ይሄዳል፤ ከካሜራው ፊት ያለችው ሴት ግን በእውነት ቃል ይቸግራታል። እንድትጨርስ መጠበቅ አለበት። የዚህ ሙያ ትልቁ ችሎታ መጠበቅን ማወቅ ይመስለኛል፤ ለመጠበቅ ደግሞ በፕሮግራም ወረቀት ላይ ቦታ አይሰጠውም። እኔ የምሠራው ወረቀት ላይም አልነበረም፤ ከዚያ ጥቅምት ወዲህ ግን ለእያንዳንዱ ቀን ያልተያዘ ሰዓት መተው ጀምሬአለሁ፤ ፕሮዲውሰሮች ሲያገኙት ይሰርዙታል።

ሲዝኑ እንዳለቀ የጋሼ ውል አልታደሰም። ምክንያቱ መዘግየት ነው ተባለ። አዲሱ ዳይሬክተር ጨዋ ወጣት ነው፣ ፈጣን ነው፤ ቅር የሚለኝ በእሱ አይደለም። በመጀመሪያው ቀን ተዋናዮቹን ካሜራው በሚመቸው አስቀመጣቸው። እናትን የምትጫወተው ሴት ተነሥታ «እኔ ከዚህ ልጅ አጠገብ ነው የምቀመጠው» አለች። ለምን ሲላት «ታርቀናል» አለችው። ወጣቱ ጥቂት አሰበና ካሜራውን አዞረ። በዚህ አከበርኩት።

ጋሼ በቅርቡ ደወሉልኝ። ሌላ ጣቢያ ሌላ የቤተሰብ ድራማ ሰጥቷቸዋል፤ ሦስት ትውልድ በአንድ ግቢ የሚኖርበት ታሪክ ነው። «ትመጪያለሽ?» አሉኝ፤ ስክሪፕቱን ሳልጠይቅ እመጣለሁ አልኳቸው። ቤቱ ሳሪስ ነው። ትናንት ሄጄ አየሁት፤ ሳሎኑ ለስምንት ሰው ገበታ ይበቃል፣ ብርሃኑም ከሰዓት በኋላ በደንብ ይገባል። ከአጥሩ ማዶ ግን ወፍጮ ቤት አለ፤ ከጠዋት እስከ ማታ ይፈጫል። ሰኞ ባለቤቱን ላነጋግር ቀጠሮ ይዣለሁ፤ እህል የማይፈጭበት ሰዓት ካለው ገበታዎቹን በሙሉ በዚያ ሰዓት አደርጋቸዋለሁ።