ለክቡር የቡና ኬላ

ለክቡር የቡና መቆጣጠሪያ ኬላ
ባሉበት መንገድ

ጉዳዩ፦ ሦስት ኪሎ ቡናን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣ ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል? ገመድዎስ? የእኛ አገር ዝናብ በቀላሉ ስለማያባራ እንዳይበሰብስብዎ እሰጋለሁ። እኛ ደህና ነን። እሸቱ ቀልቷል፣ ለቀማው ተጀምሯል፣ አልጋ ላይ የተሰጣው ጀንፈልም ሲያገላብጡት መንኮሻኮሽ ይዟል። መገናኛችን ደርሷል ማለት ነው።

የትኛው ኬላ እንደሆኑ ስምዎን አልጠራም። ከሚዛን ተነስቶ በቦንጋ በጅማ አድርጎ አዲስ አበባ የሚገባ፣ ከቴፒም በማሻ በጎሬ የሚዞር ሰው ከወንድሞችዎ ጋር በየተራ ስለሚተዋወቅ፣ አንዱን ጠርቼ ሌላውን ብተው ቅር ይለዋል። መልካችሁም አንድ ነው፦ ገመድ፣ የቆርቆሮ ዳስ፣ አግዳሚ ወንበር፣ ከአውቶቡስ ጣራ እስከ እናቶች ዘንቢል ድረስ የሚደርስ አፍንጫ።

የምጽፍልዎ ስለ አፍንጫዎ ነው።

በቀደም ለታ አውቶቡስ ውስጥ ከጎኔ የተቀመጡ እናት፣ አዲስ አበባ የወለደች ልጃቸውን ሊያርሱ ይሄዱ ነበር። ዘንቢላቸው ውስጥ ቅቤ አለ፣ ማር አለ፣ ኮረሪማ አለ፣ ከሥር ደግሞ በነጠላ ቁራጭ የተቋጠረ ሦስት ኪሎ ቡና። ፈታሽዎ ቅቤውን አለፈው። ማሩንም አለፈው። ኮረሪማውን አንስቶ አሸተተ፣ ደስ አለው፣ መልሶ አስቀመጠው። ቋጠሮው ላይ ሲደርስ ግን ፊቱ ተለወጠ።

«ይሄ የማን ነው?»

«የኔ ነው ልጄ። ከጓሮዬ የለቀምኩት ነው።»

«እሱን አልጠየቅኩዎትም እማማ። ወረቀት አለው ወይ?»

እማማ ከጉያቸው ፈልገው ፈልገው የቀበሌ መታወቂያቸውን አወጡ። ፈታሽዎ ፎቶውንና ፊታቸውን አስተያየና በሁለት እጁ መለሰላቸው።

«ይሄ የእርስዎ ነው። እኔ የምልዎት የቡናውን ነው።»

የሕጉ ጥልቀት የገባኝ ያን ጊዜ ነው። አረቢካ ቡና ማንም ሳይተክለው በራሱ የበቀለው በዚህ በእኛ ጫካ፣ በካፋና በሸካ በቤንችም ነው። ቀበሌ ሳይቋቋም፣ ወረዳ ሳይቋቋም፣ እርስዎም ሳይቋቋሙ እዚህ ይኖር ነበር። ይህን ሁሉ ዘመን ኖሮ መታወቂያ አለማውጣቱ ግን በእውነት የሚያስወቅሰው ነው።

ረዳቱ «አራስ ጥየቃ ነው እኮ» ብሎ ሊማልድ ሞክሮ ነበር። «እኔ ምን ላድርግ፣ ከላይ የመጣ መመሪያ ነው» ተባለ። እኚያ እናት ቋጠሯቸውን ትተው ተሳፈሩ። ደረሰኝ የሰጣቸው የለም፤ እሳቸውም አልጠየቁም። የተወረሰ ቡና ወዴት እንደሚሄድ እኔም አልጠይቅም። ብቻ ዳስዎ ሥር የተጣደው ጀበና ሲንተከተክ ሽታው እስከ አውቶቡሱ መስኮት መጥቶ ነበር፤ ከደረጃ የወደቀ ቡና እንዲያ አይሸትም።

ሕግ የማላውቅ ሰው እንዳልመስልዎ። አዋጅ ቁጥር 602/2000 ነበር፣ በአዋጅ ቁጥር 1051/2009 ተተካ። በሁለቱም ለውጭ ገበያ የሚበቃ ቡና አገር ውስጥ አይሸጥም፤ ለእኛ የተፈቀደልን ከደረጃ የወረደው ነው። ምክንያቱም ይገባኛል። አገሪቱ ዶላር ትሻለች፣ ዶላር ከሚያስገኙት የእርሻ ምርቶች ቡናን የሚያህል የለም፣ እኛ ደግሞ ጎረቤት ጠርተን ሦስት ጊዜ እያፈላን ከምርቱ ግማሽ ያህሉን ጀበና ውስጥ እናስቀረዋለን። የአገር ውስጡ ዋጋ ከውጭው የሚበልጥበት ጊዜ ስላለም ካልተጠበቀ ወደዚሁ ይፈሳል። እርስዎ የተፈጠሩት ለዚህ ነው፣ መፈጠርዎን አልቃወምም። አዋጁ የሚያወራው ግን ስለ ግብይት ነው። አራስ ጥየቃ በየትኛው የንግድ ዘርፍ እንደሚመደብ ቢያሳውቁኝ እኚያን እናት ንግድ ቢሮ ወስጄ አስመዘግባቸዋለሁ፤ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርም ይወጣላቸዋል።

የሚያሳስበኝ የክብደቱ ነገር ነው። በ2003 ዓ.ም. ገደማ ለውጭ ገበያ የተዘጋጀ 10 ሺህ ቶን ቡና ከመጋዘን ጠፋ። ጠፋ ያልኩት እኔ አይደለሁም፤ ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ነጋዴዎቹን ሰብስበው ካሜራ ፊት የተናገሩት ነው። 10 ሺህ ቶን ማለት 100 ሺህ ኩንታል ነው። 400 ኩንታል የሚጭን ተሳቢ ቢገኝለት 250 ተሳቢ ይሞላል። ክቡር ሆይ፣ 250 ተሳቢ ተከታትሎ ሲያልፍ ሌላው ቢቀር አቧራው አላስነጠሰዎትም? ወይስ ቡናው በአየር ሄደ? ፍርዱንም ያስታውሱት ይሆናል። ሁላችንም እጃችን አለበትና ለዛሬ ይቅር ተብሏል፣ ለሁለተኛው ግን እጅ ይቆረጣል ተባለና ስብሰባው ተበተነ። እኚያ እናት የበደሉት እንግዲህ በማነስ ነው። በሦስት ኪሎ ፋንታ 10 ሺህ ቶን ቋጥረው ቢሆን ኖሮ ስብሰባ ይጠሩ ነበር፤ የታሸገ ውኃም ይቀርብላቸው ነበር።

ቡናን በኪሳራ ሸጠው በሚያገኙት ዶላር ሌላ ዕቃ አስገብተው የሚያተርፉ ላኪዎች እንደነበሩም በነጋዴው ዘንድ ምሥጢር ሆኖ አያውቅም። ያ ኪሳራ ግን ወረቀቱ የተሟላ ስለሆነ ገመድዎ ቶሎ ይነሳለታል።

የሌላውስ ዓለም እንዴት ነው ብዬ ጠየቅሁ። ፊላደልፊያ በምትባል የአሜሪካ ከተማ ሚያዝያ 4 ቀን 2010 ሁለት ጥቁር ወጣቶች ስታርባክስ ቡና ቤት ገብተው ቀጠሮ የያዙትን ሰው ሲጠብቁ እጃቸው በካቴና ታስሮ ተወሰዱ። ጥፋታቸው ምንም ሳይገዙ መቀመጣቸው ነበር። እዚያ ቡና ባለመያዝ፣ እዚህ ቡና በመያዝ! ሕግ አክባሪ ሰው ከቡና ስንት ክንድ ርቆ መቆም እንዳለበት የሚያስረዳኝ አጥቻለሁ። የፊላደልፊያው ነገር ግን እንዲሁ አልቀረም። የፖሊስ አዛዡ መጀመሪያ ፖሊሶቹን ደግፎ፣ በኋላ በአደባባይ ይቅርታ ጠየቀ። ኩባንያው ግንቦት 21 ቀን ከ8 ሺህ በላይ ቡና ቤቶቹን ከሰዓት በኋላ ዘግቶ ሠራተኞቹን ሥልጠና አስገባ። ወጣቶቹ ከከተማዋ አስተዳደር አንዳንድ ዶላር ብቻ ተቀብለው፣ ለወጣት ሥራ ፈጣሪዎች የሚውል 200 ሺህ ዶላር አስመደቡ። አሜሪካ የፍትሕ አገር ናት ማለቴ አይደለም። እዚያም ቢሆን ሲታሰሩ በስልኩ የቀረጸ ተስተናጋጅ ባይኖር ኖሮ ማን ይሰማ ነበር? በእኛ አውቶቡስ ስልኩን ያወጣ ተሳፋሪ ከቡናው ቀድሞ ይወርዳል።

ሌላ ደግሞ የሙያ ጥያቄ አለኝ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1930ዎቹ ማጂ ተቀምጦ የነበረ የእንግሊዝ ቆንስል ከጌሻ ጫካ የቡና ዘር አስለቅሞ ወደ ኬንያ ላከ። ዘሩ ከኬንያ ታንጋኒካ ተሻገረ፣ በ1953 ኮስታ ሪካ ደረሰ፣ ከዚያም ፓናማ ገባ። በዚያው አቆጣጠር በ2004 እዚያ በተደረገ ውድድር ቀማሾቹን ጉድ አሰኘ። በ2025 ጨረታ ደግሞ አንድ ኪሎው በ30,204 ዶላር ተሸጠ፤ የወሰደው የዱባይ ገዢ ነው። በእኛ ገንዘብ ከ4 ሚሊዮን ብር በላይ መሆኑ ነው። ከዚያ ጨረታ ለቤንች ገበሬ የሚቆረጥለት ሳንቲም የለም። እና ያ ቆንስል በየትኛው ኬላ አለፈ? የይለፍ ወረቀቱ ቅጂ ፋይል ቤትዎ ውስጥ ይገኝ ይሆን? በፓናማው ሒሳብ እኚያ እናት ከ12 ሚሊዮን ብር በላይ በነጠላ ቋጥረው ነበርና የፈታሽዎ ፊት መለወጡን አሁን ሳስበው አልፈርድበትም።

ስለ ጉራ ፈርዳ ወረዳም ልጠይቅዎ፤ ከከተማችን ሩቅ አይደለም። ጥቅምት 2013 ታጣቂዎች እዚያ ባደረሱት ጥቃት ከ30 የማያንሱ ሰዎች መገደላቸውን የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ተናግሯል። ክላሽ ከሦስት ኪሎ ቡና ይረዝማል፣ ይከብዳል፣ ነጠላ ቁራጭ ውስጥም አይገባም። ሽታ ብቻ የለውም። እነዚያ ሰዎች በትከሻቸው ጀንፈል ተሸክመው ቢሆን ኖሮ ሁለት ኬላ አያልፉም ነበር፤ ይህን በእርስዎ ላይ ካለኝ ሙሉ እምነት ተነስቼ እመሰክራለሁ።

ኅዳር 2014 ክልላችን ሲመሠረት መቀመጫው ለአራት ከተሞች ተከፋፍሎ ለሚዛን አማን የዳኝነቱ ደረሰን። ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደጃችን ድረስ መጣ ብለን ተደስተን ነበር። ለካ የቡናችን ጉዳይ ወደዚያ አይሄድም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 ሰው በጉልበቱ ያፈራው የራሱ ነው ይላል፤ በአንቀጽ 37 ደግሞ በፍርድ የሚያልቅ ጉዳዩን ዳኛ ፊት የማቅረብ መብት አለው ይላል። እርስዎ ዘንድ ክስ የለ፣ ጠበቃ የለ፣ ቀጠሮ የለ፣ የአውቶቡሱ ሞተር ሳይጠፋ ውሳኔው ተሰጥቶ ይፈጸማል። ይግባኝ የሚሰማው ረዳቱ ነው፣ እሱም ሰዓት ረፍዶበታል። ዳኞቻችን በመዝገብ ብዛት ሲማረሩ እሰማለሁና ልምድ ልውውጥ ቢመጡልዎ መልካም ነው። አግዳሚ ወንበሩን ግን ማስረዘም ያስፈልጋል።

በአገልግሎትዎ ርዝመት ዕድገትና ዝውውር የሚገባዎ ይመስለኛል። ገመድዎን ጠቅልለው ተሳቢዎቹ ወደሚያራግፉባቸው መጋዘኖች በር ቢዛወሩ ለአፍንጫዎ የሚመጥን ሥራ እዚያ አለ። እስከዚያው ሁለት ነገር ብቻ ይፈጽሙልን። ለቤት ፍጆታ ስንት ኪሎ ቢያዝ እንደማያስጠይቅ በአማርኛም፣ በቤንችኛም፣ በካፊኖኖም ጽፈው ዳስዎ ላይ ይለጥፉ። ለሚወስዱት ቋጠሮ ሁሉ ደግሞ ተራ ቁጥር ያለው ደረሰኝ ይቁረጡ፤ ቡናው ባይመለስ እንኳ የት እንደገባ ሰው ይከታተለዋል። ይህንን ለማድረግ ከላይ መመሪያ እስኪመጣ መጠበቅ ያለብዎ አይመስለኝም።

ስለ እኛ አይጨነቁ። ፍሬው ሁሉ ቢሄድም ጨሞ አለን፤ የቡና ቅጠል ከነዝንጅብሉ ከነቃሪያው ተፈልቶ የሚጠጣ ነው፣ አያቶቻችንም የሚወዱት ነው። እኔ እስከማውቀው ለቅጠል አዋጅ አልወጣለትም። እባክዎ ይህችን መስመር አለቆችዎ ፊት ሲደርሱ ዘለው ያንብቡ።

ከሰላምታ ጋር
አንድ ተፈታሽ
ሚዛን አማን

ግልባጭ፦
ለመጋዘኖቹ ሁሉ፣ ባሉበት
ለ10 ሺህ ቶን ቡና፣ በሄደበት
ለንግድ ቢሮ፣ ለአራስ ጥየቃ ዘርፍ (ሲቋቋም)

ማሳሰቢያ፦ ይህን ደብዳቤ ያደረሰው ሹፌር ስለ ይዘቱ የሚያውቀው ነገር የለም። ፖስታው ቡና ቡና ቢሸትዎ የእጄ ጠረን ነው፤ የጻፍኩት ከለቀማ እንደተመለስኩ ነው።