«ስንት ገባ?»፦ የአዲስ አገልግሎት ብሥራት በድሬዳዋ፣ ቅድመ ጥናት

ሰኞ ነሐሴ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ኔትወርኩን ለመጀመሪያ ጊዜ ለደንበኞች ከፈተ። ቦታው ድሬዳዋ ነበር። ኩባንያው ፈቃዱን ያገኘው 850 ሚሊዮን ዶላር አቅርቦ ነው። ከጀርባው የኬንያ፣ የደቡብ አፍሪካ፣ የእንግሊዝና የጃፓን ባለድርሻዎች አሉት፤ ከፊቱ ደግሞ ስልክን ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ ብቻውን ይዞ የኖረ መንግሥት ቆሟል። በአገሪቱ የቴሌኮም ታሪክ በደማቁ የሚጻፍ ቀን ነው። ድሬዳዋም ቀኑን እንደ ወጉ ተቀበለችው፤ «ሲሙ ስንት ገባ?» ብላ ጠየቀች።

ይህ ጥናት የዚያን ጥያቄ ጠባይ ይመረምራል። ሕዝቡ ለአዳዲስ የቴክኖሎጂ ዕቃዎችና አገልግሎቶች የሚሰጠውን ምላሽ እስካሁን ሲያጠኑ የኖሩት የየኩባንያዎቹ የሕዝብ ግንኙነት ክፍሎች ናቸው፤ ውጤቱም ምንጊዜም «ከፍተኛ ተቀባይነት» ሆኖ ይገኛል። የድሬ ሰው ምላሽ ግን ወደ ጭብጨባ ከመድረሱ በፊት የሚያልፍባቸው ደረጃዎች ስላሉ ለብቻው መታየት አለበት።

የጥናቱ ዘዴ በምሁራን ዘንድ አሳታፊ ምልከታ የሚባለው ነው፤ ቁጭ ብሎ መስማት ማለት ነው። መረጃው የተሰበሰበው ከከዚራ ዛፎች ጥላ ሥር፣ ታይዋን ከሚባለው ገበያ የስልክ ሱቆች፣ ከባጃጅ የኋላ ወንበር፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ጫት ከሚቃምበት ከበርጫ ቤት ነው። የናሙናው መጠን ፍራሹ የቻለውን ያህል ነው። መጠይቅ ለመበተንም ታስቦ ነበር፤ ተጠያቂዎቹ ገና ወረቀቱን ሳይቀበሉ «ምን አለው?» በማለታቸው ቀርቷል። ጥናቱ ይህንንም እንደ መረጃ መዝግቦታል።

ታሪካዊ ዳራ

ምላሹን ለመረዳት መጀመሪያ መላሿን ማወቅ ያሻል። ድሬዳዋ ራሷ የአንድ ኩባንያ አዲስ አገልግሎት የወለዳት ከተማ ናት። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ ሐረር ሊገባ ነበር የታሰበው፤ ተራራው አላስወጣ ሲል ሜዳው ላይ ቀረ። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ታኅሣሥ ደረሰ፤ ጣቢያው ተተከለ፤ ከተማው ጣቢያውን ተከትሎ መጣ። ስሙንም «አዲስ ሐረር» አሉት። ከዚያ ኩባንያው ገንዘብ አጠረውና ከሰረ፤ ሌላ ኩባንያ ተተካ፤ ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። በዛሬ ቋንቋ ሲነገር፣ የሙከራ አገልግሎቱ ድሬዳዋ ላይ ከ14 ዓመት በላይ ቆይቷል ማለት ነው።

ሳፋሪኮም ያንኑ መንገድ በ38 ቀን ጨርሶ መስከረም 26 ቀን 2015 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሥራ ጀመረ። ይህ ትልቅ መሻሻል ነው። ቢሆንም ድሬዳዋ «ሙከራ» ስትባል የማትደነግጠው ለምን እንደሆነ ከዚህ መረዳት ይቻላል። ስልኩም ቢሆን ባዕድ አልነበረም፤ በምኒልክ ዘመን የተዘረጋው 477 ኪሎ ሜትር ሽቦ አዲስ አበባን ያገናኘው ከዚሁ ከጎረቤት፣ ከሐረር ጋር ነው።

ግኝት አንድ፦ ዋጋ ከስም ይቀድማል

ማንኛውም አዲስ ዕቃ ሲበሠር ኩባንያው የሚናገረው ዕቃው ምን እንደሚሠራ ነው። የድሬ ሰው የሚሰማው ግን ያልተነገረውን ነው፤ ያልተነገረውም ብዙውን ጊዜ ዋጋው ነው። ይህ ጠባይ የአካባቢው ብቻ ነው የሚሉ አሉ። ጥናቱ አይስማማም። አፕል የመጀመሪያውን አይፎን በጥር 2007 እ.ኤ.አ. ሲያስተዋውቅ የማይክሮሶፍቱ ዋና ሥራ አስኪያጅ ስቲቭ ባልመር በቴሌቪዥን ቀርበው ከት ብለው ሳቁ፤ 500 ዶላር ለስልክ፣ ያውም የፊደል ቁልፍ ለሌለው! ባልመር የድሬ ልጅ አይደሉም፤ ጥያቄያቸው ግን ንጹሕ የታይዋን ጥያቄ ነው። ልዩነቱ የታይዋን ነጋዴ አይስቅም፤ ሁለት ያስመጣና ይሞክራል።

ግኝት ሁለት፦ ዕቃው ከብሥራቱ ቀድሞ ይገባል

ታይዋን ስሙ የደሴት ይሁን እንጂ የድሬዳዋ ገበያ ነው። ከጅቡቲና ከሶማሊያ በኩል የሚመጣው ጨርቅ፣ ሽቶና ኤሌክትሮኒክስ በዚያ በኩል ሲያልፍ ኖሯል፤ ሁሉም በቀረጥ አልፏል ብሎ የሚምል አይገኝም። ስለዚህ አንድ ቀፎ በይፋ «ወደ ኢትዮጵያ ገበያ ገባ» ተብሎ ሲነገር ታይዋን ላይ ስክሪኑ የተሰነጠቀው ቀድሞ ለጥገና ተቀምጧል።

የሱቁ ምርመራ ለጥናቱ ብዙ ጠቅሟል። ደንበኛው ስልኩን ያገላብጣል፤ ክብደቱን በእጁ ይመዝናል፤ ባትሪውን ይጠይቃል፤ ስንት ሲም እንደሚይዝ ይጠይቃል፤ መብራቱን ያበራል። ካሜራውን የሚሞክረው ሻጩን ፎቶ በማንሳት ነው። ከዚያ ወደ ዋናው ጉዳይ ይገባል።

«ኦርጅናል ነው?»

«የዱባይ ነው አቦ።»

የተጠየቀው ጥራት ነው፤ የተመለሰው መልክዓ ምድር ነው፤ ሁለቱም ወገኖች ግን ተግባብተዋል። ሻጩ የጆሮ ጌጥ ሽቦ አንስቶ የሲሙን ቀዳዳ ሲወጋ ግብይቱ ተፈጽሟል።

መንግሥትም ይህን ሥርዓት ያውቀዋል። በ2010 ዓ.ም. መጀመሪያ የመንግሥቱ ቴሌ ቀፎዎችን በመለያ ቁጥራቸው የመመዝገብ አሠራር ዘርግቶ ነበር፤ ዓላማው ያልተመዘገበና በኮንትሮባንድ የገባ ስልክ ኔትወርክ እንዳያገኝ ማድረግ ነው። በኋላ አሠራሩ ቆመ። ታይዋን አልቆመም።

ግኝት ሦስት፦ ምላሹ እንደ ሰዓቱ ይለያያል

ከዚህ በፊት የተሠሩ ጥናቶች ትልቁ ድክመት ተጠያቂው በስንት ሰዓት እንደተጠየቀ አለመመዝገባቸው ነው። ድሬዳዋ ላይ ይህ ይቅር የማይባል ስሕተት ነው፤ የአንድ ሰው አስተያየት በአንድ ቀን ውስጥ በሦስት የተለያዩ ሰዎች ሊሰጥ ይችላልና።

ከምሳ በፊት የድሬ ሰው ተጠራጣሪ ነው። ሙቀቱ አለ፤ ሥራው አለ፤ የአወዳይ ጫት ገና አልደረሰም። በዚህ ሰዓት ስለ አዲስ አገልግሎት የሚጠየቅ ሰው «ኔትወርኩ ሳቢያን ይደርሳል? ገንደ ቆሬስ?» ብሎ ይመልስና ዞር ይላል። ጥያቄው ትክክለኛ ነው፤ ማብራሪያ ግን አይጠብቅም።

ከስምንት ሰዓት በኋላ ሁኔታው ይለወጣል። በርጫው ተዘርግቷል፤ ሱቆች ተዘግተዋል፤ ውኃውና ሻዩ ቀርቧል፤ ጨዋታው ቀስ ብሎ ይሞቃል። ጠዋት የተናቀው ዜና አሁን በክብር ይነሳል። ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ምርቃናው ሲገባ በቤቱ ያለ ሰው ሁሉ የኩባንያው ሸሪክ ነው። አንዱ የሲም ወኪልነት ይወስዳል። ሌላው ከሐረርና ከጅግጅጋ ጋር የሚያያዝ የማከፋፈያ መስመር በጣቱ ምንጣፉ ላይ ይስላል። አንድ ዝምተኛ ሰውዬ አንገቱን አቅንቶ «ማማውን ማን ነው የሚተክለው?» ይላል፤ ከአሥር ደቂቃ በኋላ ማማ ተካዩ እሱ ነው። የዚህን ሰዓት ምላሽ የሰበሰበ ኩባንያ ድሬዳዋን የአፍሪካ የቴክኖሎጂ ማዕከል ብሎ ሪፖርት ያቀርባል፤ በተሰበሰበው መረጃ መሠረትም አይሳሳትም።

ሦስተኛው ምላሽ ማታ፣ ምርቃናውን ከሚሰብረው ከጨብሲ ጋር ይመጣል። ወኪልነቱ ወደ አንድ ሱቅ፣ ሱቁ ወደ አንድ ጃንጥላ፣ ጃንጥላው ወደ አንድ ሲም ዝቅ ይላል። ሲሙን ግን ሰውየው በማግስቱ ይገዛል። ጥናቱ «ተጨባጭ ፍላጎት» ብሎ የመዘገበው ይህንን ብቻ ነው።

ግኝት አራት፦ አዲሱ ይጨመራል፣ አሮጌው አይወጣም

ሁለተኛ ኩባንያ ገበያ ሲገባ ደንበኞች ከአንዱ ወደ ሌላው ይፈልሳሉ የሚል ግምት አለ። ድሬዳዋ ይህን አላደረገችም። ስልኩ ሁለት ሲም ይይዛል፤ እንግዲህ ሁለት ሲም ይገባበታል። የቴሌው 09 የቤተሰብ፣ የባንክና የእዳ ቁጥር ሆኖ ቀረ፤ የሳፋሪኮሙ 07 ኢንተርኔቱን ተረከበ። አዲሱን ቁጥር ሲመርጥም ብዙ ሰው የፈለገው የድሮውን ቁጥሩን ነበር፤ ከፊት ያለው 09 ብቻ 07 ሆኖ። በእድሜ የገፉ አንዲት እናት ይህንኑ ሲጠይቁ ሻጩ «አዲስ ቁጥር እኮ ነው እናቴ» ይላቸዋል። «ታዲያ እኔ አዲስ ሰው ነኝ?» ይሉታል።

የሁለቱ ኩባንያዎች ፉክክር በዚህ መንገድ ከአደባባይ ተነስቶ አንድ የሸሚዝ ኪስ ውስጥ ገብቷል። ከዚያም የዕለቱን አሸናፊ የሚወስነው የማን ጥቅል ዛሬ ይረክሳል የሚለው ነው። በአንዱ ሲም ላይ ሂሳብ ሲያልቅ በሌላው ይደወላል፤ በሁለቱም ሲያልቅ «መልሰህ ደውልልኝ» የሚለው ነጻ መልእክት ይላካል። ይህ የመጨረሻው አገልግሎት ያለ ምንም ክርክር በሁሉም ተጠያቂ ዘንድ ተወዳጅ ሆኖ ተገኝቷል።

ግኝት አምስት፦ ከማስታወቂያ ሰልፍ ይበልጣል

ቴሌብር ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ሲበሠር በስልክ ገንዘብ መላክ ለድሬ ነጋዴ እንግዳ ነገር አልነበረም። ሐርጌሳ ላይ ዛድ የተባለው አገልግሎት ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይሠራል፤ በሶማሌ ክልልም ሄሎካሽ ቀድሞ ሥር ይዟል። ከዚያ ወገን ጋር የሚነግድ ሰው ዜናውን የሰማው እንደ ዘገየ ባቡር ነው። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የሳፋሪኮሙ ኤምፔሳ ሲጨመርም፣ ኬንያ ላይ ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እንደነበረ የሚያስታውስ አልጠፋም።

ለብድር አገልግሎቶቹ የተሰጠው ምላሽም ተመሳሳይ ነው። በ2014 ዓ.ም. ክረምት ቴሌብር ከዳሸን ባንክ ጋር ሆኖ መላ፣ እንደኪሴና ሳንዱቅ የተባሉ የብድርና የቁጠባ አገልግሎቶችን አቀረበ። ሂሳቡ ያነሰበት ሰው ልዩነቱ በእንደኪሴ ይሞላለታል። የሰፈር ባለሱቅ ይህንኑ አገልግሎት «ዱቤ» በሚል ስም፣ በካሬ ደብተርና በእስክርቢቶ ሲሰጥ ኖሯል። የእሱ ሥርዓት ባትሪ አይጨርስም፤ ነገር ግን ለሰፈር ሰው ሁሉ ያወራል።

ታዲያ የድሬን ባጃጅ ሹፌር ዲጂታል ያደረገው ምንድን ነው? ቤንዚን ነው። በግንቦት 2015 ዓ.ም. ነዳጅ ከአዲስ አበባ ውጭም በጥሬ ገንዘብ መሸጡ ቀርቶ በዲጂታል ክፍያ ብቻ ይሁን ሲባል፣ የማደያው ሰልፍ ማንም አሠልጣኝ ያልቻለውን ሠራ። ስልክ ለመደወል ብቻ ነው ይል የነበረ ሹፌር ከፊቱ ያሉት ባጃጆች ሳያልቁ የይለፍ ቁጥሩን አወጣ። እርግጥ ነው፣ ሰልፉ ረጅም ነበር።

ከዚያ በኋላ ክፍያው ወደ ባጃጁ የኋላ ወንበር ገባ። ተሳፋሪው ይልካል፤ ስክሪኑን ያሳያል። ሹፌሩ የሰው ስክሪን አያምንም፤ የራሱን ያያል።

«አልገባም።»

«ወጥቷል እኮ! ይኸው!»

«ካንተ ወጣ፣ እኔ ጋ አልገባም አቦ።»

ሁለቱም አንገታቸውን ደፍተው አንዱን ስልክ ያያሉ። ከኋላ ያለው ባጃጅ ጥሩምባውን ይነፋል። መልእክቱ ጢን ብሎ ሲገባ ሹፌሩ የተላከውን አያነብም፤ ጠቅላላ ቀሪ ሂሳቡን ያነባል፤ ከዚያ ሞተሩን ያስነሳል። ይህ ክፍተት በአማካይ ምን ያህል እንደሚረዝም ጥናቱ አልለካም፤ የሚለካው ስልክ በዚያ ሰዓት ክፍያ እየጠበቀ ነበር።

የጥናቱ ውስንነትና ምክረ ሐሳብ

ጥናቱ ውስንነቶች አሉት። አጥኚው ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ የያዘው ማስታወሻ ከጠዋቱ ጋር ሲነጻጸር የእጅ ጽሑፉ ሰፊ፣ ተስፋውም ብዙ ሆኖ ተገኝቷል። ቢሆንም የሚከተሉት ምክሮች በሦስቱም ሰዓቶች ተፈትሸው ጸንተዋል።

ድሬዳዋ ላይ አዲስ ነገር የሚያበሥር ኩባንያ ዋጋውን በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ይናገር። መግለጫውን ከምሳ በፊት ይጨርስ፤ ከስምንት ሰዓት በኋላ ከጀመረ አዳማጭ አያጣም፣ የሚመዘገበው ግን ሁሉም በወኪልነት ይሆናል። «የቀድሞውን ትተው ወደ እኛ ይምጡ» የሚል ሰሌዳ አይስቀል፤ ማንም አይተውም፣ ሁሉም ግን ይመጣል። አገልግሎቱን በተቻለ መጠን ከነዳጅ ማደያ ጋር ያያይዘው። ይህን ማሟላት የከበደው ሙከራውን ሌላ ከተማ ይጀምር።

ግኝቶቹን የሚጠራጠር አንባቢም ሥራው ቀላል ነው። አዲስ ስልክ ወጣ ሲባል ስምንት ሰዓት ላይ አንድ ዙርባ ጫት ይዞ ይምጣና ራሱ ይቁጠር።