ብርድ የሰጠኝ ማዕረግ

አሰላ በገባሁበት ዓመት፣ ሳላገባ፣ ሳልወልድ፣ አንድ ፀጉር እንኳ ሳይሸብትብኝ አንቱ ተባልኩ። የሾመኝ የለም። ጋቢ ለበስኩ፤ አለቀ። ባለጋሪው ልጓሙን ሳብ አድርጎ «ይለፉ አባቴ» አለኝ። ወተት ሻጯ ልጅ ከወገቧ ጎንበስ አለችልኝ። አንድ የማላውቃቸው አዛውንት ደግሞ ብቻዬን ቆሜ ሳለ፣ በኦሮምኛ አክብሮት በብዙ ቁጥር «አካም ቡልታን?» ብለው አዳሬን ጠየቁኝ።

ይህ ለድሬዳዋ ልጅ ቀላል ነገር አይደለም። ድሬ አንቱታ የማይበረክትባት ከተማ ናት። አያትህንም፣ የሰፈርህን ሐጂም፣ አለቃህንም «አንተ» ስትል ትውላለህ፤ የሚቀየምህ የለም። ሁሉም ጥላ ፍለጋ ላይ ስለሆነ ለማዕረግ ጊዜ የለውም። አለባበሱም እንደዚያው ነው፤ ከላይ ስስ ሸሚዝ፣ ቤት ሲገቡ ሽርጥ፣ ከእግር ሸበጥ። ወደ አሰላ ስዛወር ከታይዋን ገበያ የሸመትኳቸውን ሸሚዞች አጣጥፌ ሻንጣ ውስጥ ከተትኩ። ከጠቅላላ ንብረቴ ክብደት የነበረው የሽቶዬ ጠርሙስ ብቻ ነበር።

አዳማ ላይ የሚኒባሱ መስኮት ሁሉ ክፍት ነበር። ዴራን አልፈን ወደ ኢተያ ስንቃረብ አንድ በአንድ ይዘጉ ጀመር። ጎንዴ ስንደርስ አጠገቤ የተቀመጡት ሰውዬ ከእግራቸው ሥር ካለው ማዳበሪያ ውስጥ ቡልኮ መዘው አወጡ፤ ተከናነቡና ከእኔ ስስ ሸሚዝ ላይ ዓይናቸውን ነቅለው ወደ ውጭ ያዩ ጀመር፤ ሰው ሲያፍር ላለማየት ፊቱን እንደሚያዞር ጨዋ። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አሰላ ከ2,400 ታልፋለች። አንድ ሺህ ሜትር በወጣን ቁጥር አየሩ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ያህል እንደሚቀዘቅዝ በጂኦግራፊ ክፍለ ጊዜ ተምረናል። ያኔ ለፈተና ነበር፤ ጎንዴ ላይ ጉልበቴ ውስጥ ገባ። ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ ከ4,000 ሜትር የሚበልጠው የጭላሎ ተራራ ከከተማዋ ራስጌ ቆሟል፤ ማታ ማታ የሚልከው ንፋስ በር አያንኳኳም።

ሰው ሁሉ የሚያስፈራራኝ በክረምቱ ነበር። እርግጥ ነው፣ ከሰኔ ጀምሮ ዝናቡ ይወርዳል፣ ቦቲ ጫማ የሌለው ሰው ከቤቱ አይወጣም፣ ጂንስ ያጠበ ሰው እስኪደርቅ ሌላ ጂንስ መግዛት ይቀለዋል። ግን ዋናው ብርድ «እንኳን ከጨለማ ወደ ብርሃን አሸጋገረን» ተባብለን፣ አደይ አበባ ቆርጠን፣ ሹራባችንን ካወለቅን በኋላ ነው የሚመጣው። ደመና ለካ የምድር ጋቢ ነው። መስከረም ሲጠባ ይገፈፋል፤ ምድር ቀን የሞቀችውን ሙቀት ሌሊት ወደ ጠራው ሰማይ ስትለቅ ታድርና ጠዋት የገብሱ ማሳ ላይ ውርጭ ተነጥፎ ይገኛል። «በጥቅምት አንድ አጥንት» ያሉት አባቶች ነገሩን ያውቁታል። ምን ያደርጋል፣ ከአጥንቱ ዋጋ ካፖርቱ ይረክሳል።

ካፖርቱን ያገኘሁት ከሰልባጅ ተራ ነው። ሻጩ ትከሻውን መታ መታ አድርጎ «ይሄ በረዶ ያየ ነው ወንድሜ፣ አሰላን አይፈራም» አለኝ። ረጅም፣ ጥቁር፣ ባለ ትልቅ አንገት፤ ለብሼው ስወጣ ራሴን ወደድኩት። ችግሩ ሌላ ነው። አሰላ ላይ እንዲህ ያለ ካፖርት የለበሰ ሰው ከላይ መሥሪያ ቤት ለቁጥጥር የመጣ ይመስላል። ሰፈር ውስጥ ሳልፍ ጨዋታ ይቋረጣል። አንዲት እናት ቧንቧው ውሃ ካቋረጠ መሰንበቱን በዝርዝር አስረዱኝ፤ ምንም ሥልጣን የለኝም ብላቸው «ሁላችሁም እንዲህ ነው የምትሉት» ብለው ሄዱ። ካፖርቱን አስቀመጥኩና ጋቢ ገዛሁ።

ጋቢ ሙያ ይጠይቃል። መጀመሪያ እጅህን ይቀማሃል። የባጃጅ ሒሳብ ለመክፈል ስትሞክር ግማሹ ይፈታና ወገብህ ለንፋስ ይጋለጣል፤ ስልክህ ሲጮህ ድምፁን ትሰማለህ እንጂ የት እንዳለ አታገኘውም። ነገር ግን አንዴ ከለመድከው አካሄድህ ይዘገያል፣ ንግግርህ ይመጠናል፣ ጉሮሮህን ሳታስበው ትጠርጋለህ። ነገሩ እዚህ ድረስ ሄዶ፣ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ሽማግሌ ሊልክ ሲዘጋጅ አንድ ሰው ጎደለውና ወደ እኔ መጣ። «እኔ ራሴ ላጤ ነኝ እኮ» ብለው «ጋቢ አለህ አይደል?» አለኝ። ሄድኩ። ጥግ ላይ ተቀምጬ አንድ ቃል ሳልተነፍስ አመሸሁ። ሲያሰናብቱን የልጅቷ አባት ለባልደረባዬ አጎት በጆሮው «ያ ጥግ ያሉት ዝምተኛው ሰው አስተዋይ ናቸው» አሉት አሉ። ብርድ ነበር ያስተዋልኩት።

ግን አሰላ ባለችበት አርሲ ውስጥ በልብስ የማይሞቅ ወገንም አለ። ጎህ ሲቀድ በቁምጣ የሚሮጡት ልጆች ናቸው። በቆጂ ባርሴሎና ላይ በ1992 እ.ኤ.አ. በ10,000 ሜትር ወርቅ ያጠለቀችውን ደራርቱ ቱሉን የሰጠች ከተማ ናት፤ ኃይሌ ገብረሥላሴም የዚሁ የአሰላ አካባቢ ልጅ ነው። ባለሙያዎች ምክንያቱን ሲያስረዱ አየሩ ስስ ስለሆነ ሰውነት ኦክስጅን የሚሸከሙ ቀይ የደም ሴሎችን ያበዛል ይላሉ። ይሁን። ኃይሌ ሲሮጥ ግራ ክንዱ ታጠፍ የሚለው ልጅ ሳለ ደብተሩን ይዞ 10 ኪሎ ሜትር ወደ ትምህርት ቤት ይሮጥ ስለነበር ነው ይባላል። እኔም ጋቢዬ እንዳይወድቅ በግራ ክንዴ ደግፌ ባጃጅ ላይ ለመድረስ ስሮጥ ክንዴ ልክ እንደዚያ ይታጠፋል። ፍጥነቱ ነው ያልመጣው።

ጋቢ የማይሸፍነው ቆዳ ደግሞ ሌላ ችግር አለበት፤ የደጋ ፀሐይ አታላይ ናት። አትሞቅም፤ ግን ታቃጥላለች። ከፍታው በአንድ ሺህ ሜትር በጨመረ ቁጥር ጨረሩ በ10 በመቶ ገደማ ይበረታል፤ አየሩም ደረቅ ነው። ከንፈሬ ተሰነጣጥቆ መሳቅ አቃተኝ፤ ይህም ለአስተዋይነት ዝናዬ ረድቷል። የድሬውን ሽቶ ትቼ ቫዝሊን ያዝኩ። አከራዬ እማማ ደግሞ መፍትሔው ከውስጥ ነው ባይ ናቸው፤ የተቆላ የገብስ ዱቄት በተነጠረ ቅቤ የታሸበትን ጭኮ በማንኪያ እየቆረሱ ያጎርሱኛል። ሱሪዬ እንደ ሐሳባቸው ጠቧል። በአንድ ነገር ብቻ አይደራደሩም፤ ከሰል የያዘ ማንደጃ ክፍሌ ውስጥ አያሳድሩም። እሳቱ የቀላም ቢሆን፣ ሽታ የሌለው መርዝ የተኛን ሰው ሳይቀሰቅስ እንደሚወስድ ያውቃሉና ራሳቸው መጥተው ያወጡታል።

የቀረው ገላ መታጠብ ነው። ድሬ ላይ ጠዋትና ማታ ውሃ የማፈስ ሰው፣ እዚህ በሳምንት አንዴ፣ ቅዳሜ ሰባት ሰዓት ላይ፣ ውሃውን ከጠዋት ጀምሮ በባልዲ ፀሐይ ላይ አስጥቼ ጓሮ ካለችው ቆርቆሮ ሻወር ቤት እገባለሁ። እዚያ ጋቢ የለም፤ ማዕረግም የለም። ያለፈው ቅዳሜ ራሴን አረፋ በአረፋ እንዳደረግኩ ጨለም አለ። ጥርሴ እየተንገጫገጨ ከቆርቆሮው ጀርባ ጮህኩ።

«እማማ! ደመናው አለፈ?»

ቡና እያፈሉ ነበር። የሲኒው ድምፅ ይሰማኛል።

«የለም ልጄ፣ ጭላሎ ጫፍ ላይ ቁጭ ብሏል» አሉ ረጋ ብለው። «አንተም ቁጭ በል፤ ገና አቦሉ ነው።»