የጣና ጉዞን አበላሽቶ የመመለስ ጥበብ

አዘዞ መንገድ የሚበተንባት ከተማ ናት። አንዱ ወደ መተማ፣ አንዱ ወደ ባሕር ዳር፣ አንዱ ደግሞ በቆላ ድባ በኩል ወደ ጎርጎራ ይወርዳል። ይህን ሦስተኛውን የያዘ ሰው ተጉዞ ጣና ዳር ይደርሳል፣ ጀልባ ይሳፈራል፣ ደሴት ያያል፣ ገዳም ይሳለማል፣ ደስ ብሎት ይመለሳል። ይህ ጽሑፍ እሱን አይመለከትም። ምክሩ የተዘጋጀው ሙሉ ቀን፣ ሙሉ ኪስና ሙሉ ጤና ይዞ ወጥቶ ሦስቱንም አጉድሎ ለመግባት ቆርጦ ለተነሳ ጎብኚ ነው።

ዝግጅቱ ከሻንጣ ይጀምራል። ለበዓል ከውጭ የመጣ የአጎት ልጅ ካለ ሥራው በግማሽ አለቀ ማለት ነው። ልጁ ዛንዚባር ደርሶ የተመለሰ ከሆነ ደግሞ ጨርሶ አለቀ። ከሻንጣው ሥር ዓይንና አፍንጫን የሚሸፍን የጎማ ጭንብል፣ አፍ ውስጥ የሚገባ ቆልማማ ቱቦና የዳክዬ እግር የሚመስል ጫማ ይወጣል። ጨዋታው ስኖርክሊንግ ይባላል። ፊትን ውኃ ላይ ደፍቶ፣ በቱቦው አየር እየሳቡ፣ ከሥር ያለውን ጉድ መመልከት ነው። ባሕሩ በጠራበት አገር እውነትም ጉድ ይታያል። ሩቅ ሳይሄዱ እዚሁ ጎረቤት ጅቡቲ፣ አርታ በተባለው ዳርቻ፣ ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ወራት የዓለማችን ትልቁ ዓሣ ዌል ሻርክ ብቅ ይላል፤ ሰዉም በቱቦ እየተነፈሰ ከጎኑ ይዋኛል። እንግዲህ እዚያ የሠራ ዕቃ ጎርጎራ ላይ የማይሠራበት ምን ምክንያት አለ? ጎብኚው ይህን ጥያቄ ለማንም ሳያቀርብ ጭንብሉን ይያዝ።

ጀልባ ላይ ሲወጣ ነጂው ማየቱ አይቀርም።

«ወንድምዓለም፣ ምንድን ነው እሱ?»

«ዓሣ ማያ ነው።»

«ዓሣውንማ እኔ አስጠብሼ አሳይህ ነበር።»

ይህ የምቀኛ ወሬ ነው ተብሎ ይታለፍ። ጎብኚው ጭንብሉን አጥልቆ ፊቱን ይድፋ። የሚያየው ቡናማ ነው። ትንሽ ራቅ ብሎ ቢሞክር ሌላ ቡናማ ያገኛል። ጣና ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የተንጣለለ፣ ጥልቀቱ ግን በአማካይ ከዘጠኝ ሜትር የማይበልጥ፣ እጅግ ጠለቀ በሚባልበት ቦታ እንኳ 14 ሜትር አካባቢ የሚቆም ሐይቅ ነው። ሰፊ ትሪ ላይ የፈሰሰ ውኃ ማለት ይቻላል። ነፋስ በነፈሰ ቁጥር የሥሩ ጭቃ ይነሳል። በክረምት ደግሞ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ከደጋው የታጠበውን አፈር ተሸክመው ይገባሉ። መገጭ ከጎንደር ተራሮች ወርዶ በአዘዞ አጠገብ የሚያልፈው ወንዝ መሆኑን ጎብኚው ያውቃል። ስለዚህ አዘዞ ላይ በነጻ ሲረግጠው የኖረውን አፈር፣ የነዳጅና የጀልባ ሒሳብ ከፍሎ፣ በመስታወት ውስጥ አስገብቶ ያየዋል።

የዓሣው ነገር ግን ቀልድ ብቻ አይደለም። ዓይን ባያየውም በዚያ ድፍርስ ውኃ ውስጥ በዓለም ላይ አቻ የሌለው ቤተሰብ ይኖራል። የዘርፉ ሰዎች ላቢዮባርበስ ይሉታል፤ ገበያ ላይ ስሙ ነጭ አሳ ነው። ከአንድ ወገን ተነስተው በአፍ ቅርጽ፣ በምግብና በመኖሪያ እየተለያዩ ከ15 የማያንሱ ዝርያዎች ሆነዋል። አንዱ ሌላውን ዓሣ አሳዶ ይበላል፤ ሌላው ከጭቃ ይለቅማል። እንዲህ ያለ ስብስብ ፊሊፒንስ ውስጥ ላናኦ በሚባል ሐይቅ ነበር፤ ጠፋ። የቀረው የጣናው ነው። ከእነዚህ ዝርያዎች ብዙዎቹ ክረምት ሲገባ እንቁላል ለመጣል ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብና ወደ መገጭ ይወጣሉ። ዓሣ አጥማጁም ያንን ያውቃልና በወንዙ አፍ ላይ መረቡን ዘርግቶ ይጠብቃቸዋል። በ1980ዎቹ ዓ.ም. በአሥር ዓመት ግድም ውስጥ ወደ ወንዝ የሚወጡት ዝርያዎች ክምችት በሦስት አራተኛ መቀነሱ ተመዝግቧል። ስለዚህ ጉዞውን በሚገባ ማበላሸት የሚፈልግ ሰው ነሐሴ ውስጥ ይምጣ፣ ምሳ ሲያዝም «ሆዱ ሞላ ያለውን ምረጥልኝ፣ እንቁላል ያለውን» ይበል። በአንድ ሣህን ብዙ ትውልድ ይበላል።

ማየቱ ካልተሳካ መዋኘቱ አለ። ነጂው ዳር ላይ፣ ሣሩና ደንገሉ ባለበት፣ «እዚህ ባትገባ ይሻላል» ሲል ጎብኚው ልብሱን ያውልቅ። በዚያ ጥግ የሚኖር ትንሽ ቀንድ አውጣ አለ፤ ከእሱ የሚወጣው የቢልሃርዚያ ጥገኛ በዓይን አይታይም። ፀሐይ ሞቅ ሲል ውኃው ውስጥ ይንሳፈፋል፣ የሰው ቆዳ ካገኘ በደቂቃዎች ውስጥ ሰርስሮ ይገባል። ጭንብሉ ለዓይን፣ ቱቦው ለሳንባ ነው፤ ለቆዳ የታሰበ ነገር ከሻንጣው አልወጣም። ጎርጎራ በቢልሃርዚያ ጥናቶች ላይ ስሟ በተደጋጋሚ የሚነሳ ቦታ ናት፤ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በአካባቢው ተማሪ ቤቶች ልጆችን ሲመረምሩ ዓመታት አስቆጥረዋል። ዩኒቨርሲቲው ራሱ በ1947 ዓ.ም. የጤና ኮሌጅ ሆኖ ሲቋቋም አንዱ ሰበብ ከዚያ በፊት የሐይቁን ዳር አገር ደምቢያን ያራቆተው የወባ ወረርሽኝ ነበር። የሐይቁን ዳር ጠባይ የሚያውቁት ከጥንስሳቸው ነው።

እዚህ ላይ ለማበላሸት የሚረዳ አንድ ብልሃት አለ። ጎብኚው በማግስቱ ሮጦ ሰገራ ይመርመርና «የለብህም» ሲባል ተደስቶ ይረሳው። የትሉ እንቁላል በምርመራ የሚታየው ከሳምንታት በኋላ ነው። ያኔ ሆዱን ሲቆርጠው ለሐኪሙ ስለ ጨጓራ እንጂ ስለ ጣና እንዳያወራ። ሐኪሙ ጣናን ከሰማ ምርመራ አዝዞ፣ ፕራዚኳንቴል በሚባል ክኒን ነገሩን በአጭሩ ይቀጨዋል።

ውኃ ያማረው ጎንደሬ ድሮም አማራጭ አላጣም። በጥምቀት ዕለት ጸሎቱ ሲያበቃ የፋሲል መዋኛ ውስጥ ዘሎ የማያውቅ የከተማው ጎረምሳ ማን ነው? አዘዞም ብትሆን ዐፄ ሱስንዮስ ገነተ ኢየሱስን ሲያሠሩ ከድንጋይ የታነጸ የውኃ ገንዳ ነበራት። በድንጋይ ተገድቦ፣ ጥልቀቱ ታውቆ፣ ሰው እያየ። ይህ ግን ጉዞ ስለማያበላሽ ከርዕሳችን ውጭ ነው።

ስለ ሰዓት። ማለዳ ጣና ዝም ያለ ነው፤ ከቀትር ወዲያ ነፋስ ይነሳል፣ ማዕበሉም ትንሿን ጀልባ ያንገላታል። የጀልባ ሰዎች «በጠዋት እንነሳ» የሚሉት ለዚህ ነው። ጎብኚው እንቅልፉን ይጥገብ። ከዚያ ቁርስ፣ ከዚያ ቡና፤ ቡናው አቦል ላይ ቢቆም ነውር ነው፣ እስከ በረካ ይጠበቅ። ስድስት ሰዓት ላይ መልሕቅ ከተነሳ ሁሉም ነገር መልክ ይይዛል። መሄጃው ደህና ነው፤ መመለሻው ላይ ውኃው ከጀልባው አፍ እየዘለለ ጭን ላይ ይቀመጣል። የሕይወት አድን ጃኬት ከተሰጠው አጣጥፎ መቀመጫ ያድርገው፤ የጀልባው ጣውላ ይቆረቁራል። ብርቱካናማው ነገር ከመቀመጫው ሥር ተጨፍልቆ፣ ማሰሪያው በእርጥብ ጫማ ተረግጦ፣ ጎብኚው በአንድ እጁ የጀልባውን ጠርዝ በሌላው ስልኩን ይዞ ሲያስመልስ የሚያሳይ ፎቶ ከዘመድ አልበም አይጠፋም።

ሒሳብን ዳር ላይ መነጋገር የፈሪ ነው። መሐል ሐይቅ ላይ፣ ሞተሩ ጠፍቶ ጀልባዋ ስትወዛወዝ ይነሳ። ዋጋው ለጀልባው ነው ወይስ ለአንድ ሰው? የስንት ደሴት ነው? የገዳሙ መግቢያ ከውስጡ አለበት ወይስ ለየብቻ? ለየብቻ ነው፤ ይህን ግን ጎብኚው ደርሶ፣ ኪሱን ዳብሶ ይወቀው። አስጎብኚ መያዝም አያስፈልግም፤ ከተያዘ ደግሞ እሱ ሲናገር ስልክ ይታይ። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በአማራ ክልል ያለውን የጸጥታ ሁኔታ እያወቀ «መንገዱ ዛሬ እንዴት ነው?» ብሎ አገሬውን የሚጠይቅ ሰው ጉዞውን ያለ ችግር ሊጨርስ ይችላልና፣ ይህም ይቅር።

አስጎብኚውን አለመስማት ፍሬው የሚታየው ደሴቱ ዳር ነው። ጎብኚው ባለትዳር ከሆነ፣ ይልቁንም ለጫጉላ የመጣ ከሆነ፣ ዳጋ እስጢፋኖስን ይምረጥ። የዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ አስከሬን ያረፈበት ታላቅ ገዳም ነው፤ ሴት አይገባበትም። ክብራን ገብርኤልም እንዲሁ ነው። ይህ የዛሬ ሕግ አይደለም፣ ከጥንት የታወቀ ነው፤ የሚያውቁት ሁሉ ዳር ላይ ሳሉ ይናገራሉ። ሙሽሪት ግን ይህን የምትሰማው መውረጃው ላይ፣ አንድ እግሯ ጀልባ አንድ እግሯ ድንጋይ ላይ ሆኖ ነው። ተመልሳ ትቀመጣለች። ባል ገዳሙን ይዞራል። ሲመለስ ምን እንዳየ ይተርክላት፣ በዝርዝር። አስጎብኚው ቢጠየቅ ኖሮ እዚያው ቅርብ ደቅ ደሴት ላይ ናርጋ ሥላሴ እንዳለ፣ ያሠሩት እቴጌ ምንትዋብ እንደሆኑና ሴትም ወንድም እንደሚገባበት ይነግራቸው ነበር። ጎርጎራ ላይ ያለው ደብረ ሲና ማርያምም ለሁሉም ክፍት ነው። ሣር ክዳኑ ሥር ያሉት የ17ኛው ክፍለ ዘመን ሥዕሎች ደብዘዝ ባለ ብርሃን ይታያሉ። ጎብኚው እዚያ ሲደርስ ፍላሽ ያብራ፤ ጣቱንም ያስጠጋ። ሦስት መቶ ዓመት ያለፈው ቀለም ከጣት ላብ ጋር ሲተዋወቅ ማየት ለብቻው ትምህርት ነው። አባ ከተቆጡ «ታክስ እከፍላለሁ» ይበል።

በመመለሻው ላይ ጀልባዋ አንዴ ትቆማለች። ነጂው ሞተሩን ወደ ላይ ያነሳል። ፕሮፔለሩ ላይ አረንጓዴ ገመድ ተጠምጥሟል። ጎንበስ ብሎ በቢላ ይቆርጣል፣ ይስባል፣ እንደገና ይቆርጣል፤ ሥሩ ጥቁር ጢም መስሎ ከእጁ ላይ ይንጠባጠባል። ይህ እምቦጭ ነው። አበባው ሐምራዊ ሆኖ ያምራል፤ ማማሩም ነው ጣጣው፣ ከደቡብ አሜሪካ ወጥቶ ዓለምን ያዳረሰው በአብዛኛው አበባው የማረከው ሰው እየተሸከመው ነውና። ቆቃና አዋሽ ላይ ከ1950ዎቹ ጀምሮ ይታወቃል። ጣና ላይ ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ታወቀ፤ የበረታውም በሰሜን ምሥራቁ ዳር፣ መገጭ በሚገባበት በእኛው በኩል ነው። በተመቸው ጊዜ በሁለት ሳምንት እጥፍ ይሆናል፤ ዘሩ ጭቃ ውስጥ ከአሥር ዓመት በላይ ተኝቶ መብቀል ይችላል። ገበሬው ውኃ ውስጥ እስከ ደረቱ ገብቶ በእጁ ነቀለው፤ ማሽን መጣ፤ በጥቅምት 2013 ዓ.ም. የአንድ ወር ዘመቻ ታወጀ። ተነቀለ፣ ተመለሰም። ጎብኚው እንግዲህ ከነሥሩ አንድ ይምዘዝና በፕላስቲክ ከረጢት ውኃ አድርጎ ለእናቱ ስጦታ አዘዞ ይውሰድ። በባልዲ ይጸድቃል። ሲሰለቻቸው ወደ ቦይ ይደፉታል፣ ቦዩ መገጭን ያውቀዋል።

ባዶውን የውኃ ላስቲክ ሐይቁ ውስጥ መጣል እንዳይረሳ። ከረሳውም ግድ የለም፤ ባለፈው ክረምት አዘዞ ላይ የጣለው ቀድሞት ደርሶ ይሆናል።

ጥሩ ጉዞ ያማረው ሰው በዚህ ሁሉ መካከል አንድ ምሳሌ ቢፈልግ ከዚሁ ከከተማው ያገኛል። ዐፄ ፋሲል በ1660 ዓ.ም. አዘዞ ላይ ዐረፉ። አስከሬናቸው ወደ ጣና ተወስዶ በዳጋ እስጢፋኖስ ተቀመጠ። ዛሬም እዚያው በሣጥን ውስጥ ነው፤ ማየት የሚፈልግ ማለዳ ይነሳል፣ ጫማውን ያወልቃል።